የግል የመዝናኛ ግድቦች ደኅንነትና እንክብካቤ

የግል የመዝናኛ ግድብ አንድ ባለርስት፣ የዓሣ አጥማጆች ክበብ ወይም በሐይቅ ዳር ቤት የሠሩ ሰዎች ማኅበር ለዋና፣ ለጀልባና ለዓሣ ማጥመድ ብሎ በትንሽ ወንዝ ላይ የሚሠራው ወይም ከቀድሞ ባለቤት የሚረከበው ግድብ ነው። በአሜሪካ ብሔራዊ የግድቦች መዝገብ ውስጥ ከ90,000 በላይ ግድቦች የተመዘገቡ ሲሆን፣ አብዛኞቹ በግል ይዞታ ሥር ናቸው፤ ከተሠሩባቸው ዓላማዎች መካከልም መዝናኛ ከፍተኛውን ድርሻ ይዟል። ብዙዎቹ ከአፈር የተሠሩና ቁመታቸው ከጥቂት ሜትሮች የማያልፍ ናቸው። ኃይል የሚያመነጭ ወይም መስኖ የሚያጠጣ ግድብ ገቢ ስለሚያስገኝ ጠባቂና ባለሙያ ይመደብለታል፤ የመዝናኛ ግድብ ወጪ ግን ከባለቤቱ ኪስ ወይም ከማኅበርተኞች መዋጮ ብቻ የሚሸፈን በመሆኑ ጥገናው ከዓመት ወደ ዓመት ሲተላለፍ ይኖራል። ከዚህም የከፋው፣ በሐይቁ የሚደሰቱት ሰዎች ከግድቡ በላይ ሲኖሩ፣ ግድቡ ቢደረመስ የሚጎዱት ከታች ያሉትና ምናልባትም ሐይቁን አይተውት የማያውቁት መሆናቸው ነው።

ይህ ነገር ምን ያህል የከበደ እንደሆነ ለመረዳት በፔንሲልቬንያ የነበረውን የሳውዝ ፎርክ ግድብ ታሪክ መመልከት ይበቃል። ግድቡ የግዛቱ መንግሥት ለቦይ መጓጓዣ ውኃ እንዲያጠራቅም ያሠራውና በ1853 እ.ኤ.አ. የተጠናቀቀ ሲሆን፣ ወደ 22 ሜትር ከፍታና ከ280 ሜትር በላይ ርዝመት ነበረው። ባቡር ቦዩን ከጥቅም ውጪ ሲያደርገው ግድቡ ከእጅ ወደ እጅ ተላለፈ፤ በ1862 በከፊል ፈረሰ፤ ከባለቤቶቹ አንዱም ከግርጌው ውኃ ማስወጫ ሆነው ያገለግሉ የነበሩትን የብረት ቧንቧዎች አስነቅሎ ሸጣቸው። በ1879 ግድቡን የገዛው የዓሣና የአደን ክበብ፣ እንደ አንድሩ ካርኒጊና ሄንሪ ክሌይ ፍሪክ ያሉ ባለጸጎች አባል የነበሩበት ሆኖ ሳለ፣ የፈረሰውን ክፍል በአግባቡ ባልተጠቀጠቀ አፈር አስደፈነው፤ ቧንቧዎቹንም አልመለሳቸውም። ሠረገላ እንዲያልፍበት ተብሎ የግድቡ አናት ዝቅ እንዲል ተደረገ፤ ዓሣው አምልጦ እንዳይሄድም ትርፍ ውኃ በሚወጣበት የጎርፍ ማስተንፈሻ ላይ የብረት ወንፊት ተተከለ።

በ1880 ከግድቡ በታች በምትገኘው በጆንስታውን ከተማ የነበረው የካምብሪያ የብረት ኩባንያ ኃላፊ ዳንኤል ሞረል የድርጅቱን መሐንዲስ ልኮ ግድቡን አስመርምሮ ነበር። መሐንዲሱ ጆን ፉልተን ካሰፈራቸው ነጥቦች ዋነኛው ሐይቁን ዝቅ ማድረጊያ መንገድ ስለሌለ ግድቡ ቢታመም እንኳ መጠገን የማይቻል መሆኑ ነው። ሞረል ለጥገናው ወጪ ኩባንያው እንዲጋራ ሐሳብ ቢያቀርብም ክበቡ ሥጋት የለም ብሎ አልተቀበለውም። በግንቦት (ሜይ) ወር 1889 መጨረሻ ከባድ ዝናብ ጣለ። በ31ኛው ቀን ጠዋት ሠራተኞች የግድቡን አናት በአካፋ ከፍ ለማድረግ፣ በሌላ ወገን አዲስ ማፍሰሻ ለመቆፈርና ቅጠልና ግንድ የደፈነውን የዓሣ ወንፊት ለመንቀል ተሯሯጡ፤ ነገር ግን ውኃው በአናቱ ላይ መፍሰስ ጀምሮ ከቀትር በኋላ በ9 ሰዓት ገደማ ግድቡ ተደረመሰ። ከአንድ ሰዓት ያልበለጠ ጊዜ ፈጅቶ ጆንስታውን የደረሰው ጎርፍ ከ2,200 በላይ ሰዎችን ገደለ። ከጎርፉ የተረፉት በክበቡ ላይ በፍርድ ቤት ካሳ ሊያስፈርዱ አልቻሉም። በእንግሊዝ ግን ከዚያ በፊት፣ በ1868፣ ራይላንድስ ከፍሌቸር በሚባለው ክርክር፣ በመሬቱ ላይ ውኃ አጠራቅሞ የለቀቀ ሰው ጥፋት ባይገኝበትም ለደረሰው ጉዳት ተጠያቂ ነው ተብሎ ተወስኖ ነበር፤ የአሜሪካ ፍርድ ቤቶችም ከጆንስታውን በኋላ ወደዚህ መርህ እየተጠጉ ሄዱ።

በሳውዝ ፎርክ የታዩት ጉድለቶች ዛሬም በየትንንሹ ግድብ ላይ የሚገኙ ናቸው። የመጀመሪያው የጎርፍ ማስተንፈሻው ነገር ነው። የአፈር ግድብ ውኃ በአናቱ ላይ እንዲፈስ ተደርጎ አይሠራም፤ በአናቱ ያለፈ ውኃ የታችኛውን ተዳፋት እየቦረቦረ ወደ ላይ ይበላዋል፤ በአሜሪካ ከደረሱት የግድብ መደርመሶች ሲሶ ያህሉ የደረሱትም በዚህ ሁኔታ ነው። ስለዚህ ማስተንፈሻው ወርድና ጥልቀቱ ሊጠብብ፣ በወንፊት ሊዘጋ፣ ሐይቁን ከፍ ለማድረግ ተብሎም ጣውላ ሊደረደርበት አይገባም። ቢቨር የተባለው እንስሳ በአንድ ሌሊት ጭራሮና ጭቃ አከማችቶ ሊደፍነው ስለሚችል፣ ከከባድ ዝናብ በፊትና በኋላ ሄዶ ማየት የማይታለፍ ሥራ ነው።

ሁለተኛው የግርጌ ማስወጫው ነው። በእኔ ግምት በግል ግድቦች ላይ ከሁሉም በላይ የሚዘነጋው ይኸው ነው፤ በውኃ ሥር ስለሚገኝ አይታይም፤ ቫልቩም ለዓመታት ሳይነካ ቆይቶ ዝጎ ይደርቃል። ሐይቁን ዝቅ ማድረግ የሚያስፈልገው ሌላው መፍትሔ ሁሉ ባለቀ ጊዜ በመሆኑ፣ ቫልቩ ቢያንስ በዓመት አንድ ጊዜ ተከፍቶ መዘጋት አለበት። ሐይቁን በአስቸኳይ ማጉደልም የራሱ አደጋ አለው፤ በውኃ የራሰው የላይኛው ተዳፋት ደጋፊውን በድንገት ሲያጣ ሊናድ ስለሚችል ውኃው ቀስ በቀስ መቀነስ ይኖርበታል። በግድቡ ሆድ ውስጥ የሚያልፈው የቆርቆሮ ቧንቧ ከሆነ ደግሞ ከግድቡ ቀድሞ ያረጃል፤ በዝገት ሲበሳም ዙሪያውን ያለውን አፈር ወደ ውስጡ እየሳበ ግድቡን ከውስጥ ይቦረቡረዋል።

በአፈር ግድብ ውስጥ ውኃ መስረጉ በራሱ እንግዳ ነገር አይደለም፤ የሚያስፈራው ውኃው አፈር ይዞ ሲወጣ ነው። ልምድ ያለው ባለቤት ከግርጌው የሚፈልቀውን ውኃ በጠርሙስ ቀድቶ ለአንድ ሌሊት ያስቀምጠዋል። ጠዋት ከጠርሙሱ ሥር ደለል ካገኘ ግድቡ ከውስጥ እየተሸረሸረ ነው ማለት ነው፤ መጠኑ ሳይጨምር ለዓመታት ጥርት ብሎ የሚወጣ ውኃ ግን በመለኪያ ጉድጓድ እየተከታተሉ ሊተውት የሚቻል ነገር ነው። ውኃው በሚወጣበት ቦታ ላይ ጭቃ ወይም ሲሚንቶ መድፈን ትልቅ ስሕተት ነው፤ መውጫ ያጣው ውኃ ግፊቱን ይዞ በሌላ በኩል ይፈነዳልና። መሐንዲሶች የሚያደርጉት ውኃው እንዲወጣ፣ አፈሩ ግን እንዲቀር በመውጫው ላይ አሸዋና ጠጠር በቅደም ተከተል መደርደር ነው።

ዛፍ ለሐይቅ ዳር ውበት ቢሆንም ለግድብ ጠላት ነው። ሥሩ በሕይወት ሳለ የታመቀውን አፈር ያላላዋል፤ ነፋስ ሲጥለው የሥሩን እንክብል ከነአፈሩ ነቅሎ ጉድጓድ ይተዋል፤ ሲሞትም የበሰበሰው ሥር ለውኃ መሄጃ ቧንቧ ይሆናል። የሰው ክንድ ያህል ሳይወፍር በቀላሉ ይቆረጥ የነበረው ችግኝ ከሃያ ዓመት በኋላ በመሐንዲስ ንድፍ ሥሩ ተቆፍሮ፣ ቦታው በአፈር ተሞልቶና ተጠቅጥቆ የሚወገድ ትልቅ ሥራ ይሆናል። ተዳፋቱ አጭር ሣር ብቻ ሊበቅልበት ይገባል፤ ሣሩም በዓመት ሁለት ሦስቴ ሲታጨድ ስንጥቁ፣ ርጥበቱና ማስክራት የተባለው የውኃ አይጥ የቆፈረው ጉድጓድ ከዓይን አይሰወርም።

የግዛት ተቆጣጣሪዎች ግድቦችን በሦስት የአደጋ ደረጃ ይመድባሉ። ደረጃው የሚያሳየው ግድቡ መጠንከር አለመጠንከሩን አይደለም፤ ቢደረመስ ከታች ምን ሊጠፋ እንደሚችል ነው፤ የሰው ሕይወት ይጠፋል ተብሎ የሚሰጋበት ሁሉ ከፍተኛው ደረጃ ላይ ይውላል። በዚህም የተነሣ ባለቤቱ አንድ ድንጋይ ሳያነሣ፣ ከግድቡ በታች ባለው ሜዳ ላይ ሌላ ሰው ቤት በመሥራቱ ብቻ የግድቡ ደረጃ ሊለወጥና ማስተንፈሻውን እንዲያሰፋ ሊታዘዝ ይችላል። በከፍተኛ ደረጃ ለተመደበ ግድብ ብዙ ግዛቶች የአስቸኳይ ጊዜ ዕቅድ ይጠይቃሉ፤ በዕቅዱ ላይ ጎርፉ የሚደርስበት ካርታ፣ ማን ለማን እንደሚደውልና ከታች ያሉ ቤቶች ዝርዝር ይሰፍራል። በኅዳር 1977 በጆርጂያ የኬሊ ባርነስ ግድብ በሌሊት ተደርምሶ በቶኮዋ ፎልስ 39 ሰዎች ከሞቱ በኋላ የፌዴራሉ መንግሥት በሺህ የሚቆጠሩ በከፍተኛ ደረጃ የተመደቡ ግድቦችን ያስመረመረ ሲሆን፣ ሲሶ ያህሉ ለደኅንነት የማያስተማምኑ ሆነው ተገኝተዋል። በጥቅምት 2015 በደቡብ ካሮላይና በጣለው ዝናብም በደርዘን የሚቆጠሩ ትንንሽ ግድቦች ፈርሰዋል፤ ከእነዚህ ብዙዎቹ በኮሎምቢያ ከተማ ዙሪያ የነበሩ የግል ሐይቆች ናቸው።

ወጪውን መሸከም ያቃተው ባለቤት ግድቡን በሕጋዊ መንገድ የማፍረስ ምርጫ አለው። ይህም ቢሆን ያለ ፈቃድና ያለ ባለሙያ አይደረግም፤ ሐይቁ ቀስ በቀስ ደርቆ፣ ለብዙ ዓመታት የተከማቸው ደለል ወንዙን ይዞ እንዳይወርድ መላ ተበጅቶለት፣ ግድቡ እስከ ወንዙ ወለል ድረስ በሰፊው ይቆረጣል። መቆረጫው ከጠበበ ጎርፍ ሲመጣ ውኃው ከኋላው እንደገና ይታቆራል።