ፔአ ምንድን ነው? የእርሻው ዳር የማን ነው?

የአይሁድ ማኅበረሰቦች ረሃብን ለመከላከል ስለሚያደርጉት ጥረት በአማርኛ ሲጻፍ «ፔአ» በተነሣ ቁጥር አንድ ዓይነት ማብራሪያ ይከተለዋል፤ ደግ ገበሬ ከምርቱ ቀንሶ ለድሃ የሚለግሰው ስጦታ ነው ይባላል። ሰሞኑን ደግሞ አንድ አስተያየት ሰጪ ነገሩን አስፋፍቶ፣ ሆቴሎች ከማዕድ የተረፈ ምግብ ለችግረኞች መላካቸውን «ዘመናዊ ፔአ» ሲል ሰየመው። ምግብ ከሚደፋ ሰው ቢበላው ይሻላል በሚለው አልከራከርም። ይሁን እንጂ ይህ ፔአ አይደለም፤ በዋናው ነጥብ ላይ እንዲያውም የፔአ ተቃራኒ ነው።

በኦሪት ዘሌዋውያን ምዕራፍ 19 እና 23 የታዘዘው፣ በኋላም እ.ኤ.አ. በ200 ገደማ በተጠናቀረው የአይሁድ ሊቃውንት የሕግ ስብስብ፣ በሚሽና፣ ውስጥ ራሱን የቻለ ክፍል የተመደበለት የፔአ ሕግ ባለ እርሻውን የሚያዘው ዳሩን ሳያጭድ ለድሃና ለመጻተኛ ትቶት እንዲወጣ ነው። ሲያጭድ ከእጁ የወደቀ አንድ ወይም ሁለት ዛላ ቃርሚያ ይባላል፣ የድሃም ነው፤ ሦስት ከሆነ የባለቤቱ ነው። የተረሳ ነዶም በዚሁ ቁጥር ይዳኛል። ፔአ ግን ገና ያልታጨደው የማሳው ጫፍ ሲሆን፣ ትንሹ መጠኑ ከስድሳ እጅ አንዱ ነው፤ የላይኛው ጣሪያ አልተወሰነም።

ስህተቱ የሚጀምረው «ማን ያከፋፍለዋል?» የሚለው ጥያቄ ሳይጠየቅ ሲቀር ነው። ባለ እርሻው አያከፋፍልም። ሚሽና እንደሚለው ድሆች እንዳይለቅሙ የከለከለ፣ አንዱን ፈቅዶ ሌላውን የመለሰ፣ ወይም ከመካከላቸው አንዱን የረዳ ሰው ድሆችን ዘርፏል። ለአንዱ ድሃ ማገዝ ዘረፋ የሚሆነው ነገሩ አስቀድሞ የሁሉም ስለ ሆነ ነው። ማሳው ላይ ከተሰበሰቡት ድሆች ዘጠና ዘጠኙ ባለቤቱ ያካፍለን ቢሉና አንዱ እያንዳንዳችን እንልቀም ቢል የሚሰማው ያ አንዱ ነው፤ ሕጉን የተናገረው እርሱ ነውና። በቴምር ዛፍና በተንጠለጠለ ወይን ላይ ብቻ፣ መውጣቱ አደገኛ በመሆኑ፣ ባለቤቱ አውርዶ ያካፍላል። እዚያ ደግሞ ዘጠና ዘጠኙ እንሻማ ቢሉ እንኳ የሚሰማው አካፍሉን ያለው አንዱ ነው።

ነገሩን በእርሻ መካከል በሚያልፍ የሕዝብ መንገድ ልመስለው። መሬቱ በባለ እርሻው ስም የተመዘገበ ቢሆንም፣ መንገደኛው ሲያልፍ «ባለ እርሻው አሳለፈው» አይባልም። መንገዱ አፍ ላይ ተቀምጦ ዘመዱን አስገብቶ ባዳውን ሊመልስ፣ ላለፈው ሰውም ውለታ ሊቆጥርበት አይችልም። መንገደኛውን በትከሻው የማሻገር ግዴታ የለበትም፤ መንገዱ ገደል አፋፍ ላይ በሚደርስበት ቦታ ግን፣ ማለትም በቴምሩ ዛፍ ሥር፣ እጁን ይዞ ማሻገር አለበት። ምሳሌው የሚሰናከለው መንገዱ የት እንደሚያልፍና ምን ያህል እንደሚሰፋ ስንጠይቅ ነው፤ የፔአን ስፋት፣ ከትንሹ መጠን በላይ ያለውን፣ የሚወስነው ባለ እርሻው ራሱ ነውና። አስተያየት ሰጪው ይህችን ይዞ «እንግዲያው ልግስና ነው» ሊለኝ ይችላል። ታዲያ ሕጉን ጥሶ ማሳውን ሙሉ በሙሉ ያጨደ ሰውስ? አይሁዳዊው የሕግ ሊቅ ሙሴ ማይሞኒደስ በ12ኛው ክፍለ ዘመን ባዘጋጀው የሕግ ጥንቅር እንደ ደነገገው፣ ከታጨደው ነዶ ላይ ይሰጣል፤ ፈጭቶ፣ አቡክቶ ጋግሮት ቢሆን እንኳ ከዳቦው ላይ ይሰጣል። ለጋሽ ቢሆን ኖሮ ሐሳቡን ቀይሬአለሁ ማለት ይበቃው ነበር።

የሕጉ ጠባይ በትንንሾቹ ድንጋጌዎች ላይ ይበልጥ ይታያል። ድሆች ወደ ማሳው በቀን ሦስት ጊዜ ይገባሉ፤ ጠዋት፣ ቀትር ላይና ከሰዓት በኋላ። ኋላ የመጡ ተንታኞች ጠዋቱን ለሚያጠቡ እናቶች፣ ቀትሩን ለሕፃናት፣ ከሰዓቱን ለአረጋውያን የታሰበ ነው ይሉታል። ፔአን በማጭድ ማጨድም ሆነ በዶማ መንቀል የተከለከለ ነው፤ በግርግር መካከል እርስ በርስ እንዳይማቱ። ካልተነካው ላይ ለራሱ ለማስቀረት ልብሱን የዘረጋበት ወይም የተኛበት ድሃ ከላዩ ይነሣል። ፔአ በማሳው መጨረሻ ላይ እንዲሆን የታዘዘበትን ምክንያት ከሚሽና ዘመን ሊቃውንት አንዱ ረቢ ሺምዖን ሲያስረዳ ካነሣቸው መካከል ሁለቱ ለኔ ከሁሉ ይበልጣሉ። ባለቤቱ ሰው የሌለበትን ሰዓት ጠብቆ ድሃ ዘመዱን «ና ውሰድ» እንዳይለው፣ ደግሞም ድሆች መቼ ይተውልን ይሆን እያሉ ቀኑን ሙሉ በመጠበቅ ሥራ እንዳይፈቱ ነው። ሁለተኛው ምክንያት የድሃን ጊዜ እንደ ሀብት ይቆጥራል፤ ዛሬ እርዳታ ለመቀበል ሰልፍ የሚያስይዙ ሁሉ ቢያነቡት እወድ ነበር።

አስተያየት ሰጪው ያቀረበው ጠንካራ ማስረጃ በመጽሐፈ ሩት ውስጥ ሩት የቃረመችበት እርሻ ባለቤት ቦዔዝ ነው። ቦዔዝ አጫጆቹን ከነዶው ሆን ብለው ለሩት እንዲጥሉላት ማዘዙ እውነት ነው፤ ልግስና መሆኑም እውነት ነው። ነገር ግን ልግስና የሆነው ከራሱ ነዶ በማስጣሉ ነው፤ ቃርሚያው ቀድሞውንም የእርስዋ ነበር። ደግሞም ሩት ለመቃረም ፈቃድ ስትጠይቅ እናያታለን። ይህ የሚያሳየን በሕግ የተጻፈው መብት በማሳው ላይ ሁልጊዜ ያለ ልመና እንደማይገኝ ነው። ስለ እነዚህ ሕጎች የምንጽፍ ሰዎች ልንረሳው የማይገባ ነገር ነው፤ ሚሽና ሊሆን የሚገባውን ይደነግጋል፣ ስንቱ ገበሬ እንደ ፈጸመው ግን አይነግረንም። ቤተ እስራኤልም ኦሪትን በግዕዝ ሲያነቡ ሚሽና ስላልነበራቸው፣ እነዚህን ዝርዝሮች ወደ ጎንደር ገጠር መልሶ ማንበብ አይገባም።

ሌላም መጠንቀቂያ አለ። ፔአ የሚመለከተው በአንድ ጊዜ የሚሰበሰብና ለማከማቻ የሚገባ ሰብልን ነው፤ ስለዚህ እንደ ጎመን ያለ ቶሎ የሚጠወልግ አትክልት ከግዴታው ውጭ ነው፣ ደረጃ በደረጃ የሚበስለው በለስም እንዲሁ። ግዴታው በኦሪት ደረጃ በእስራኤል ምድር የተወሰነ ነው። ለቃሚ ድሃ ወደ ማሳ በማይመጣበት ጊዜ ደግሞ ባለቤቱ ሰብሉን ይወስዳል፤ ለድሃና ለመጻተኛ ተው ተባለ እንጂ ለቁራና ለሌሊት ወፍ ተው አልተባለምና።

ታዲያ ዛሬ የሚሠራው ሥራ ምን ይባላል? እ.ኤ.አ. በ2003 የተመሠረተው ሌኬት እስራኤል የተባለ ድርጅት ስሙን ከቃርሚያው ሕግ ወስዷል፤ ፈቃደኞችን አሰማርቶ ከማሳ ምርት ያስለቅማል፣ ከሆቴሎችም የተረፈ የበሰለ ምግብ ሰብስቦ ለበጎ አድራጎት ድርጅቶች ያደርሳል። ሥራው ትልቅ ነው፤ ሆኖም የሚለቅመው ድሃው ራሱ አይደለም፣ ለማን እንደሚደርስ የሚወስነውም ሌላ ነው። በጥንቱ ሥርዓት የዚህ ዘመድ ታምሑይ ነው፤ ሰብሳቢዎች በየዕለቱ በየግቢው ዞረው የሚያጠራቅሙትና ማታውኑ የሚታደል ምግብ። ከጎኑ ቁፓ የሚባለው ሳምንታዊ የገንዘብ ሣጥን ነበር። የሁለት ጊዜ ማዕድ ያለው ሰው ከታምሑይ፣ የአሥራ አራት ጊዜ ማዕድ ያለው ሰው ከቁፓ አይወስድም። ቁፓን ሁለት ሰዎች ይሰበስቡታል፣ የሚያድሉት ግን ሦስት ናቸው፤ የማን ችግር ምን ያህል እንደ ሆነ መወሰን እንደ ገንዘብ ክርክር ዳኝነት ስለሚጠይቅ ነው። የምግብ ባንኮች ሊመረመሩበት የሚገባው ሕግ ይህ ነው።

ሌናርድ ፋይን እ.ኤ.አ. በ1985 በአሜሪካ የመሠረተው፣ ረሃብን የሚዋጋው የአይሁድ ድርጅት ማዞን ደግሞ ለፔአ መንፈስ ይቀርባል፤ በአገሪቱ የመንግሥት የምግብ ድጎማ ተጠቃሚዎች መብታቸው እንዳይሸራረፍ ሕግ አውጪዎችን ይሞግታልና። ገንዘቡን ማሰባሰብ የጀመረው ግን ቤተሰቦች ከድግሳቸው ወጪ ከመቶ ሦስት እጅ እንዲለግሱ በመጠየቅ ስለ ነበር፣ እሱንም ፔአ ብለን እንዳንጠራው።