አላርም ፎን፦ ጀልባ የሌለው የባሕር ላይ የድረሱልን ስልክ

አላርም ፎን ባሕር ላይ ጭንቅ ውስጥ የገቡ ስደተኞች የሚደውሉበት የስልክ መስመር ነው። ሥራ የጀመረው በኦክቶበር 2014 ነው (እዚህ ያሉት ቀኖች ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ሌት ተቀን ክፍት ነው። መርከብ የለውም፣ ሄሊኮፕተርም የለውም። ያለው ስልክ፣ ኮምፒውተር፣ እንዲሁም በአውሮፓና በሰሜን አፍሪካ ከተሞች ሆነው በፈረቃ ስልክ የሚያነሡ በጎ ፈቃደኞች ናቸው።

ከዚህ መስመር በፊት ሐበሻው ባሕር ላይ የሚደውለው ለአንድ ቄስ ነበር። ሮም ይኖሩ የነበሩት ኤርትራዊው አባ ሙሴ ዘርአይ ናቸው። ቁጥራቸው በሊቢያ እስር ቤት ግድግዳ ላይ ሳይቀር ተጽፎ ነበር። በማርች 2011 ከትሪፖሊ 72 ሰው የጫነች የላስቲክ ጀልባ ተነሣች። ከተሳፋሪዎቹ የሚበዙት ኢትዮጵያውያን ነበሩ። ነዳጅ ሲያልቅባቸው በሳተላይት ስልክ አባ ሙሴ ጋ ደወሉ። እሳቸውም ለጣሊያን የባሕር ጠባቂ አሳወቁ። ጀልባዋ ያለችበት ቦታ ታወቀ፣ በአካባቢው ላሉ መርከቦችም መልእክት ተላለፈ። አንድ ሄሊኮፕተር መጥቶ ውሃና ብስኩት ጣለላቸው፤ ሄደ፤ በዚያው ቀረ። ጀልባዋን የሚነዳው ሰው እርዳታ ደረሰ ብሎ፣ በደላላነት እንዳይያዝ ፈርቶ፣ ስልኩን ባሕር ውስጥ ወርውሮት ነበር። ከ14 ቀን በኋላ ማዕበል መልሶ ሊቢያ ዳርቻ ላይ ሲጥላቸው በሕይወት የነበሩት 11 ብቻ ነበሩ፤ ከእነሱም ሁለቱ ብዙም ሳይቆዩ ሞቱ። በጠቅላላው 63 ሰው አለቀ። ያን ጊዜ አካባቢው በኔቶ የጦር መርከቦች የተሞላ ነበር።

ሁለተኛው ታሪክ የኦክቶበር 11፣ 2013 ነው። ከሊቢያዋ ዙዋራ የተነሣች፣ በአብዛኛው ሶርያውያንን የጫነች ጀልባ በጥይት ተመትታ ውሃ ታስገባለች። ተሳፋሪ የነበረ አንድ ሐኪም ሮም ላለው የጣሊያን የባሕር ጠባቂ ደጋግሞ ደወለ። «ማልታ ትቀርባችኋለች፣ እዚያ ደውሉ» ተባለ። እኛ አገር «መስኮት 4 ይሂዱ» እንደምንባለው ማለት ነው። ግን ጀልባዋ ከጣሊያኗ ላምፔዱሳ 113 ኪሎ ሜትር ያህል፣ ከማልታ ደግሞ 218 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ ነበር። የጣሊያን ባሕር ኃይል መርከብም ቅርብ ነበረች። ጀልባዋ ስትገለበጥ ከ200 በላይ ሰው ሞተ፤ ከእነዚህ ብዙዎቹ ሕፃናት ነበሩ። አላርም ፎን በዓመቱ ሲከፈት ሐሳቡ ቀላል ነበር፦ የተጨነቀው ሰው ቢሮውን ሲለምን አብሮ የሚሰማ ሦስተኛ ሰው ይኑር። «አልሰማንም» ማለት እንዲከብድ።

ስልኩ ሲጮህ የሚሆነው ይሄ ነው። ደዋዩ አብዛኛውን ጊዜ የያዘው ስደተኞች «ቱራያ» የሚሉትን የሳተላይት ስልክ ነው፤ መሀል ባሕር ላይ ተራ ሞባይል ኔትወርክ የለውም። ተረኛው መጀመሪያ የሚጠይቀው ያሉበትን ቦታ ነው። ቱራያው ላይ ቦታውን የሚያመለክተው የኬክሮስና የኬንትሮስ ቁጥር ይታያል፤ ችግሩ ማንበቡ ላይ ነው። ሞተር ይጮሃል፣ ሰው ያለቅሳል፣ መስመሩ ይቆራረጣል። የኬክሮሱ ዲግሪ «ሠላሳ አራት» በ«ሠላሳ አምስት» ከተሳተ ልዩነቱ 111 ኪሎ ሜትር ነው። ስለዚህ አንዱን ቁጥር ደጋግመው ያስነብባሉ። ከዚያ ስንት ሰው አለ፣ ስንት ሴትና ሕፃን፣ ሞተሩ ይሠራል ወይ፣ ውሃ ይገባል ወይ፣ የታመመ አለ ወይ ይባላል። ይህ ሁሉ ወዲያው ለባሕር ጠባቂዎችና በአቅራቢያው ላሉ የግብረ ሰናይ ድርጅቶች የነፍስ አድን መርከቦች በኢሜይልና በስልክ ይሄዳል። ሲዎች የተባለው የጀርመን ድርጅት አውሮፕላንም ስላለው፣ ጀልባዋን ከላይ ለማግኘት ይጠቅማል።

የቱራያ ሂሳብ ሲያልቅ ተረኛው ከሩቅ በኢንተርኔት ካርድ ይሞላል። እዚህ ላይ አንድ የገረመኝ ዘዴ አለ፦ ባሕር ላይ ያሉት ስልክ ሳያነሡ ሲቀሩ ተረኛው ቀሪ ሂሳባቸውን ያያል። ሂሳቡ ከቀነሰ አንድ ሰው ስልኩን እየተጠቀመ ነው፤ በሕይወት አሉ ማለት ነው። ለሰዓታት ካልተነካ ግን ያስፈራል።

መስመሩ ራሱ ማንንም ከውሃ አያወጣም። በጁን 2023 ወደ 750 ሰው የጫነችው ጀልባ አድሪያና ግሪክ አቅራቢያ ስትሰጥም አላርም ፎን አስቀድሞ ባለሥልጣናቱን አስጠንቅቆ ነበር። የተረፉት 104 ብቻ ናቸው። ሌላው ችግር ሊቢያ ነው። ከ2018 ጀምሮ ሰፊ የባሕር ክልል በሊቢያ የፍለጋና ነፍስ አድን ኃላፊነት ሥር ሆኗል። ስለዚህ ደውለህ የሚመጣው የሊቢያ ጀልባ ሊሆን ይችላል፤ እሱ ደግሞ የሚመልስህ ወደ ሸሸኸው እስር ቤት ነው። አውሮፓ ውስጥ የአላርም ፎን ሰዎችን የደላላ ተባባሪ የሚሉ ፖለቲከኞችም አልጠፉም። መስመሩ ግን ከደላላ አያገናኝም፣ አያሻግርም። የሚያነሣው ቀድሞ ውሃ ላይ ላለ ሰው ነው፤ ባሕር ላይ አደጋ ያገኘውን ሰው ማዳን ደግሞ የመርከብ ካፒቴን ሁሉ ግዴታ መሆኑ በዓለም አቀፍ ሕግ የተጻፈ ነው።

ሥራው ከሜዲትራኒያን አልፎ ወደ ካናሪ ደሴቶች የሚወስደውን የአትላንቲክ መንገድና በፈረንሳይና በእንግሊዝ መካከል ያለውን ባሕር ይነካል። ከጅቡቲዋ ኦቦክ ወደ የመን የሚሻገረው፣ አብዛኛው መንገደኛ ኢትዮጵያዊ የሆነበት የቀይ ባሕር መስመር ግን ከሥራው ክልል ውጭ ነው።

የሚደውለው ተሳፋሪ ብቻም አይደለም። የወንድሙ ወይም የእህቱ ድምፅ የጠፋበት ዘመድም ይደውላል። መቼ ተነሡ? ከየት? ጀልባዋ ምን ዓይነት ነበረች፣ ቀለሟስ? ተረኛው ይህን ይዞ በዚያን ሰሞን ከተመዘገቡት ጥሪዎች ጋር ያመሳክራል። አንዳንዴ ይገጥማል። ብዙ ጊዜ ግን ዘመድየው በሳምንቱ መልሶ ይደውላል።