ፒጂዲቲ ምንድን ነው? ዲግሪ ይዞ ማስተማርን መማር

ሰው ተመርቆ፣ ጋውን ለብሶ፣ ፎቶ ተነስቶ፣ ድግሱም ተበልቶ ካለቀ በኋላ "አሁን ደግሞ ፒጂዲቲ ልገባ ነው" ሲል ቤተሰብ ግራ ይጋባል። እናቴ "ማስተርስ ነው?" አለችኝ። አይ፣ አይደለም። "ዲፕሎማ ነው" ስላት ደግሞ ባሰባት። ዲግሪ ይዞ ወደ ዲፕሎማ የሚመለስ ሰው አይታ አታውቅማ። አልፈርድባትም፣ ስሙ ራሱ ያሳስታል።

ፒጂዲቲ የእንግሊዝኛ ስም ምህጻር ነው። ወደ አማርኛ ሲመለስ የድኅረ ምረቃ የማስተማር ዲፕሎማ ይሆናል። እዚህ ላይ ዲፕሎማ የተባለው ያ 10+3 የምንለው፣ ከ10ኛ ክፍል በኋላ ሦስት ዓመት የሚማሩት፣ ከዲግሪ በታች ያለው አይደለም። ከዲግሪ በላይ፣ ከማስተርስ በታች ያለ ነው። በመደበኛው አንድ ዓመት ገደማ ይፈጃል፤ ሥራ ላይ ያሉ መምህራን ደግሞ በየክረምቱ እየተማሩ ይጨርሱታል። የሚገባውም ሒሳብን ወይም ፊዚክስን ወይም ታሪክን በዲግሪ የጨረሰ፣ ማስተማርን ግን እንደ ሙያ ያልተማረ ሰው ነው። ግቢ ውስጥ "አፕላይድ ነኝ" የሚለው ማለት ነው። ይህ ሰው ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ከመግባቱ በፊት፣ የሚያውቀውን ነገር እንዴት ለልጆች እንደሚያደርስ የሚማርበት ዓመት ነው።

"የሚያውቀውን ነገር ማስተማር ምን ሥልጠና ይፈልጋል?" የሚል ሰው ብዙ ነው። እኔም እል ነበር።

ከተመረቅኩ በኋላ ሥራ እስካገኝ ብዬ አንድ የግል ትምህርት ቤት የ9ኛ ክፍል ኬሚስትሪ ያዝኩ። ሞልን ላስተምር ገባሁ። 6.02 ሲባዛ በ10 ላይ 23 ብዬ ሰሌዳው ላይ ጻፍኩ፣ የአቮጋድሮ ቁጥር ይባላል አልኩ፣ ፎርሙላውን አወረድኩ፣ ሦስት ጥያቄ ሠራሁ፣ ደወለ። በራሴ ኮርቼ ቾኬን ሰብስቤ ልወጣ ስል ከኋላ ወንበር አንዷ ልጅ "ቲቸር፣ ሞል ግን ምንድን ነው?" አለችኝ። አርባ ደቂቃ ሙሉ ምን ሳወራ ነበር ታዲያ? መልሱን አውቀዋለሁ፤ ግን እኔ የማውቀው መልስ የሚገባው ቀድሞ ለገባው ሰው ብቻ ነው። "ነገ እንመለስበታለን" ብዬ ወጣሁ። በማግስቱም አልተመለስኩበትም።

መልሱን ያገኘሁት ፒጂዲቲ ስገባ ነው። የኬሚስትሪ ማስተማሪያ ዘዴ የሚሰጠን መምህር የመጀመሪያው ቀን "ጤፍ ስትገዙ ትቆጥራላችሁ?" ብሎ ጠየቀን። ሳቅን። ማንም ጤፍ ቆጥሮ አይገዛም፣ በኪሎ ነው። ለምን? ፍሬዋ ደቃቅ ናት፣ ብዛቷ አያስቆጥርም። አቶምም እንደዚያው ነው አለን። ቆጥረህ ስለማትዘልቀው ትመዝነዋለህ፣ ከሚዛኑ ተነስተህ ስንት እንደሆነ ታውቃለህ። ሞል ማለት እንግዲህ መስፈሪያ ነው፣ ልክ እንደ ደርዘን። ደርዘን 12 ነው፣ ሞል ያ ረጅሙ ቁጥር ነው። አንድ ደርዘን እንቁላልና አንድ ደርዘን ብርቱካን በቁጥር እኩል ናቸው፣ በሚዛን ግን አይገናኙም፤ አንድ ሞል ካርበን 12 ግራም፣ አንድ ሞል የኦክስጅን አቶም ደግሞ 16 ግራም የሚመዝነው ለዚህ ነው። በቃ። አምስት ደቂቃ አልፈጀበትም። እኔ ሦስት ዓመት ኬሚስትሪ ተምሬ ጤፍ ትዝ ብሎኝ አያውቅም ነበር።

ሊ ሹልማን የሚባል አሜሪካዊ ተመራማሪ በ1986 ለዚህ ዓይነቱ እውቀት ስም አውጥቶለታል (ዓመቶቹን በፈረንጆች ነው የምጽፈው)። ሐሳቡን በእኔ አነጋገር ልበለውና፣ ትምህርቱን ማወቅ አንድ ነገር ነው፣ ክፍል መያዝና ማስተማሪያ ዘዴን በጥቅሉ ማወቅ ሌላ ነገር ነው፣ ይህንን ርዕስ ለእነዚህ ልጆች በየትኛው ምሳሌ ላስገባው፣ የት ጋ ይሳሳታሉ፣ ለምን ይሳሳታሉ የሚለው ደግሞ ሦስተኛ፣ የመምህር ብቻ የሆነ እውቀት ነው። የኬሚስትሪ ተመራማሪው ይህንን ማወቅ አይጠበቅበትም። መምህሩ ግን ያለዚህ ባዶ ነው። እንግዲህ ፒጂዲቲ በደንብ ከተሰጠ የሚሸጠው ይህንን ነው።

የተቀረው ምን ምን ነው? የትምህርት ሥነ ልቦና አለ፣ ሥርዓተ ትምህርት አለ፣ ምዘና አለ፣ የተለያየ ፍላጎት ያላቸውን ልጆች በአንድ ክፍል ስለማስተማር የሚያወራ አካቶ ትምህርት የሚባል አለ። ተግባራዊ ምርምር ይሠራል፤ ማለትም "የእኔ ተማሪዎች ለምን የቤት ሥራ አይሠሩም?" የሚል ዓይነት የራስን ክፍል ችግር አጥንቶ መፍትሔ መሞከር። ሐሳቡ ግሩም ነው። ካለፈው ባች እየተቀዳ፣ የትምህርት ቤቱ ስም ብቻ እየተቀየረ ሲቀርብም አይቻለሁ።

ዋናው ግን ፕራክቲከሙ ነው። ሠልጣኙ እውነተኛ ትምህርት ቤት ይመደባል። መጀመሪያ ከኋላ ተቀምጦ ያያል፣ ከዚያ ቀስ እያለ ያግዛል፣ በኋላ ክፍሉን ራሱ ይይዛል። ዕለታዊ ዕቅድ ያወጣል፣ የትምህርት ቤቱ መምህር ያየዋል፣ ከዩኒቨርሲቲም መጥተው ይገመግሙታል። ከኋላ መቀመጡን ብዙዎች ጊዜ ማባከን ይመስላቸዋል። እኔ ከሁሉም የተማርኩት እዚያ ወንበር ላይ ነው። ከፊት ሆነህ ክፍሉ ጸጥ ካለ የገባቸው ይመስልሃል፤ ከኋላ ስትሆን ግማሹ የእንግሊዝኛ የቤት ሥራ እየገለበጠ እንደሆነ ታያለህ።

ግን ለምንድን ነው ይህ ዓመት መጨረሻ ላይ የተንጠለጠለው? ከዲግሪው ጋር አብሮ ለምን አይሰጥም? ይህ የቆየ ጠብ ነው፣ ፔንዱለሙም አንዴ ወዲህ አንዴ ወዲያ ሲል ኖሯል። በ2003 የመጣውና መምህራን "ቴሶ" የሚሉት ማሻሻያ ሁለቱን አጣምሮ ነበር። ልጁ ከመነሻው መምህር ልሆን ብሎ ገብቶ ትምህርቱንም ሙያውንም ጎን ለጎን እየተማረ ይመረቃል። ወቀሳው "ማስተማሪያ ዘዴ በዛ፣ ሒሳቡና ፊዚክሱ ሳሳ" የሚል ሆነ። ስለዚህ ሁለቱ ተለያዩ፤ ቅድሚያ ትምህርቱን ጠግቦ ይማር፣ ሙያውን በኋላ ይጨምርበት ተባለ። ከ2011 ጀምሮ የተሠራበት ፒጂዲቲ የዚህ ውጤት ነው። ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ደግሞ ወደ ተጣመረው መንገድ እየተመለስን ነው፤ ኮተቤም የትምህርት ዩኒቨርሲቲ ተብሎ ሥራው መምህራንን ማፍራት ሆኗል። (በነገራችን ላይ ባሕር ዳር ላይ "ፔዳ" የሚባለውን ግቢ የማያውቅ የለም፣ ስሙ ከየት እንደመጣ የሚያውቅ ግን ጥቂት ነው። በ1972 የተቋቋመው የመምህራን ማሠልጠኛ፣ የፔዳጎጂ አካዳሚው ነው። ተቋሙ ስሙን ስንቴ ቀየረ፣ ባጃጁ ግን እስካሁን "ፔዳ! ፔዳ!" ይላል።)

እኔን ብትጠይቁኝ ሁለቱም መንገድ ይሠራል። እንግሊዞች ከዲግሪ በኋላ የአንድ ዓመት ሥልጠና ይሰጣሉ፣ ፊንላንዶች ከሙያው ጋር አጣምረው እስከ ማስተርስ ያደርሱታል፤ ሁለቱም ጋ ጥሩ መምህር ይወጣል። የእኛ ችግር ቅደም ተከተሉ አልነበረም። ማን ነው የሚገባው የሚለው ነው። በ2008 ሰባ ሠላሳ የሚባለው የተማሪ ምደባ ፖሊሲ መጣና ከመቶ ሰባው ተማሪ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ላይ ተመደበ። ተመርቆ ሥራ ያጣው አፕላይድ ብዙ ሆነ፣ ፒጂዲቲም ለብዙዎች መጠለያ ሆነ። ከእኔ ጋር የነበሩትን ስጠይቅ "እስቲ እስከዚያው" የማይል አልነበረም። እኔም ብያለሁ። እስከዚያው ብሎ የገባ ሰው ደግሞ የሚማረው እስከዚያው ያህል ነው።

የአንደኛ ደረጃው መንገድ ሌላ ነው። እዚያ የሚያሠለጥኑት በክልሎች ሥር ያሉት የመምህራን ትምህርት ኮሌጆች ናቸው፣ እነ ጎንደር፣ ደሴ፣ አሰላ፣ ሀዋሳ። ለረጅም ጊዜ ወደ ሙያው መግቢያው 10+3 ነበር፤ አሁን ግፊቱ መስፈርቱን ወደ ዲግሪ ከፍ ለማድረግ ነው።

ፒጂዲቲ ወንድም አለው፣ ፒጂዲኤስኤል ይባላል። እሱ ለርዕሰ መምህራንና ለሱፐርቫይዘሮች ነው፣ የትምህርት ቤት አመራር ዲፕሎማ። ሐሳቡ ቀላል ነው፤ ጎበዝ የባዮሎጂ መምህር ሁሉ ጎበዝ ርዕሰ መምህር አይሆንም፣ በጀት፣ የሰው ኃይል፣ ከወላጅ ጋር መነጋገር፣ ሌላውን መምህር ክፍል ገብቶ አይቶ ሳያስቀይም መምከር የራሱ ትምህርት ይፈልጋል። ወንበሩ በዝምድናና በሹመት ከተያዘ ግን ክረምቱን ሙሉ ቢማርም ለውጥ የለውም።

አንድ ነገር አትቀላቅሉ። ፒጂዲቲ የትምህርት ማስረጃ ነው እንጂ የሙያ ፈቃድ አይደለም። ፈቃዱ የራሱ የጽሑፍ ፈተናና ማህደረ ተግባር (ፖርትፎሊዮ) አለው፣ ዲፕሎማውን ይዞ ፈተናውን የሚወድቅ አለ።

ውጭ ለመሄድ ያሰበ መምህር ካለ ደግሞ ይህችን ይስማ። የአጎቴ ልጅ አሜሪካ፣ ሜሪላንድ ስቴት፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው ያለው፣ እዚህ መምህር ነበር፣ እዚያም ማስተማር ፈለገ። አሜሪካ የማስተማር ፈቃዱን የሚሰጠው እያንዳንዱ ስቴት ነው። ሜሪላንድ ዲግሪውን ብቻ አይቶ አልለቀቀውም። ኮርሶቹ አንድ በአንድ ተገምግመው ይምጡ፣ የማስተማር ሥልጠና ስለመውሰድህም ማስረጃ አምጣ ተባለ። ያ ቤተሰብ የሳቀበት ዲፕሎማ ያኔ ተፈለገ። ችግሩ፣ ዲግሪውን የተማረው አንድ ዩኒቨርሲቲ፣ ፒጂዲቲውን ሌላ ዩኒቨርሲቲ ነው፣ ኦፊሻል ትራንስክሪፕት ደግሞ ከሁለቱም ታሽጎ መሄድ አለበት። ውክልና ልኮልኝ አንድ ወር ሙሉ ሬጅስትራር ለሬጅስትራር ተንከራተትኩለት። የእሱን እንዳስላክሁ በዚያው የራሴንም አወጣሁ።