ደፋርና ጭስ መውጫ አያጣም? ንግድ ስለመጀመር ደሴ ላይ የሚወራውና እውነታው

ደሴ ላይ «ንግድ ልጀምር ነው» ያለ ሰው ምክር አያጣም። ፒያሳ ሻይ ቤት ቁጭ ካለ አንዱ «አብሽር፣ ግባበት» ይለዋል። ሌላው «አርፈህ ደሞዝህን ብላ» ይለዋል። ሁለቱም ከልባቸው ነው። ግን ሁለቱም የሚያወሩት ስለ ወኔ ነው፤ ሒሳቡን የሚያነሣ የለም። እኔ እንደማየው ድፍረት የሚመጣው ሒሳቡ ከተሠራ በኋላ ነው። ቢከስር ስንት ብር እንደሚያጣ የሚያውቅ ሰው ፍርሃቱ ልክ አለው። ደጋግመው ከሚወሩት ውስጥ የተወሰኑትን እንያቸው።

«ነጋዴ ሲፈጠር ጀምሮ ደፋር ነው»

ይህን የምንለው ብዙ ጊዜ ከተሳካለት ሰው ሱቅ በር ላይ ቆመን ነው። አገራችን ውስጥ ለሥራ ፈጣሪዎች የሚሰጥ ኤምፕሬቴክ የሚባል ሥልጠና አለ። አሥር የሥራ ፈጣሪ ባሕርያትን ይዘረዝራል። አደጋን መጋፈጥ ከአሥሩ አንዱ ብቻ ነው፤ እሱም ቢሆን የተሰላ አደጋ ነው የሚለው። የቀሩት መረጃ ማሰባሰብ፣ ማቀድ፣ የገቡትን ውል መጠበቅ፣ ሰውን ማሳመንና የመሳሰሉት ናቸው። ሁሉም የሚለመዱ ናቸው። ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ የሚወስደውን የሐረጎን ቁልቁለት በጉም የሚወርድ ሹፌር ጎበዝ የሚባለው ስለፈጠነ አይደለም፤ ማርሹን ቀንሶ፣ መብራቱን አብርቶ ኮምቦልቻ ስለደረሰ ነው።

«ሥራህን ካልለቀቅክ አልቆረጥክም»

በጣም ጎጂው ምክር ይሄ ይመስለኛል። አሜሪካ ውስጥ ተሠርቶ በ2014 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት አለ። ደሞዛቸውን እየበሉ በጎን ጀምረው ኋላ ላይ ጠቅልለው የገቡ ሰዎችን፣ ከመጀመሪያው ሥራቸውን ለቀው ከገቡት ጋር አነጻጸረ። የመጀመሪያዎቹ ንግዳቸውን የመተው ዕድል በ33 በመቶ ያነሰ ሆኖ ተገኘ። አገሩ ሌላ ነው፤ ነገሩ ግን እዚህም ይገባል። ደሞዝ ያለው ሰው የመጀመሪያዎቹን ስህተቶች የሚሠራው የቤት ኪራይ ሳያንቀው ነው። ደንበኛ ሲያንገራግረው በርካሽ አይሸጥም። ቀን ፋብሪካ ውላ ማታ ቤቷ በስፌት መኪና የጎረቤት ልብስ የምታሳጥር ልጅ ከሁሉም በላይ የቆረጠች ናት፤ ግን ማንም ነጋዴ ብሎ አይጠራትም።

«ፋብሪካ መቀጠር ዕድሜ መቁጠር ነው፤ የራስ ሥራ ነው የሚያዋጣው»

የኮምቦልቻ ኢንዱስትሪ ፓርክ በ2009 ዓ.ም. ከተመረቀ ወዲህ ይህ ክርክር በየቤቱ አለ። ደግነቱ እዚሁ ኢትዮጵያ ውስጥ የተሞከረ ነገር አለ። ክሪስቶፈር ብላትማንና ስቴፈን ዴርኮን የተባሉ ተመራማሪዎች ከአምስት ድርጅቶች ጋር ሆነው ሥራ አመልካቾችን በዕጣ ለዩ። ለአንዱ ቡድን የፋብሪካ ሥራ ተሰጠው። ለሌላው 300 ዶላር የሚያህል ገንዘብና የንግድ ሥልጠና ተሰጠው። ሦስተኛው ምንም አልተሰጠውም።

ከዓመት በኋላ ገንዘብና ሥልጠና ያገኘው ቡድን ገቢ በ33 በመቶ አድጎ ነበር። ፋብሪካ ከገቡት አብዛኞቹ ለቅቀው ወጥተው ነበር፤ ሥራው ጤናም ይጎዳ ነበር። እስከዚህ ያለውን የሰማ «አላልኩም?» ይላል። ግን ከአምስት ዓመት በኋላ ተመልሰው ሲያዩ ልዩነቱ ጠፍቶ ነበር። ሦስቱም ቡድኖች ተመሳሳይ ቦታ ላይ ነበሩ። መነሻ ገንዘብ ቀድሞ ያስጀምራል፤ ዘላቂ ብልጫ ግን አልሰጠም። ስለዚህ የተቀጠረውን መናቅም፣ የራሱን የጀመረውን እንደ ጀግና መሸከምም የሚያስኬድ አይመስለኝም።

«ገበያው ካለ ንግዱ አይወድቅም»

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ብዙ ሰው የሚወድቀው እዚህ ነው።

አንዲት እናት ለሆቴሎች እንጀራ ታቀርባለች እንበል። በቀን 100 እንጀራ፣ አንዱን በ25 ብር። ከአንዱ 5 ብር ይተርፋታል፤ በቀን 500 ብር ማለት ነው። ወረቀት ላይ ያምራል። ሆቴሎቹ ግን የሚከፍሉት በየ15 ቀኑ ነው። እስከዚያ ጤፉ፣ መብራቱ፣ የጋጋሪዋ ደሞዝ፣ የባጃጁ ሒሳብ ከእሷ ኪስ ነው የሚወጣው። ለአንድ እንጀራ 20 ብር፣ በቀን 2,000፣ በ15 ቀን 30,000 ብር። ብሩ አልጠፋም። እጇ ላይ ግን የለም። አንዱ ሆቴል «እትዬ፣ እስከ ሳምንት ይታገሡኝ» ሲላት ጤፉን በዱቤ ትወስዳለች። በዱቤ ሲሆን ደግሞ ጤፉ ይወደዳል። መብራት ጠፍቶ አንድ ቀን ሊጥ ተበላሸ ማለት እስከ አራት ቀን የሚደርስ ትርፍ ሄደ ማለት ነው። በመጨረሻ ምጣዱን ትሰቅላለች። ጎረቤት «ገበያ አጥታ ነው» ይላል። ገበያውማ ሞልቶ ነበር።

መላው ድፍረት አይደለም። በ40 እንጀራ መጀመር ነው፤ እጅ በእጅ ለሚከፍል 1 ብር መቀነስ ነው። ትልቁን ሆቴል እምቢ ማለትም ሊሆን ይችላል፤ እሱ ነው የሚከብደው።

የሰፈር ሱቅ ዱቤ ደብተርም ያው ነው። «እሱ ለኔ ወንድሜ ነው» እየተባለ ይጻፋል።

«ዕቁብ ወጣልኝ፣ ካፒታል አገኘሁ»

ዕቁብ ጥሩ ነው፤ ለብዙ ሱቅ የመጀመሪያው ባንክ እሱ ነው። ግን ቀድሞ የደረሰው ሰው የያዘው ብድር ነው። 20 ሰው በሳምንት 2,000 ብር የሚጥልበት ዕቁብ 40,000 ብር ነው። በሦስተኛው ዕጣ ከደረሰህ 34,000 ብሩን ገና ልትከፍል ነው። አዲሱ ሱቅ ከመጀመሪያው ሳምንት ጀምሮ 2,000 ብር ካላወጣ፣ የዕቁቡ ዳኛ ወደ ዋስህ መሄዱ አይቀርም።

«ካርታ ያለው ቤት ከሌለህ ባንክ አያይህም»

ግማሽ እውነት አለው። ቅርንጫፍ ስትሄድ የመጀመሪያው ጥያቄ አሁንም ቤት ሊሆን ይችላል። ነገር ግን ከ2011 ዓ.ም. ጀምሮ አዋጅ ቁጥር 1147 ማሽን፣ ዕቃ፣ ከብት፣ ያልተሰበሰበ ሒሳብ ሳይቀር በመያዣነት እንዲመዘገብ ፈቅዷል። አዋጁን በስሙ ጠርቶ መጠየቅ ነውር የለውም። ወለድ ስለማይፈልጉ ከብድር የሚርቁትም፣ ወሎ ውስጥ ጥቂት አይደሉም፣ አሁን አማራጭ አላቸው። በ2013 ዓ.ም. ዘምዘም ባንክ ሙሉ በሙሉ ከወለድ ነፃ ሆኖ ሥራ ጀምሯል። ሌሎች ባንኮችም መስኮት ከፍተዋል። በሙራባሃ ባንኩ ዕቃውን ገዝቶ በታወቀ ትርፍ ይሸጥልሃል። ትርፉ ስንት እንደሆነ ከብድር ወለድ ጋር አስላው፤ ሐላል ነው ማለት ርካሽ ነው ማለት አይደለም።

«ከአሥር ዘጠኙ ይወድቃል»፣ «ዕድሜዬ አልፏል»

ሁለቱንም ባጭሩ። መዝገብ በደንብ በሚያዝባት አሜሪካ በመጀመሪያው ዓመት የሚዘጋው ከአምስት አንድ ገደማ ነው። ከአምስት ዓመት በኋላ ግማሽ ያህሉ አለ። እዚያው አገር ሠራተኛ እስከ መቅጠር የደረሰ ንግድ የመሠረቱ ሰዎች አማካይ ዕድሜ 42 ገደማ ነው። እጅግ ፈጥነው ያደጉትን የመሠረቱት ደግሞ 45።

«አንዴ ባዶ የቀረ አይነሣም»

ለዚህ ደሴ ራሷ ትመልስ። በጥቅምት 2014 ዓ.ም. መጨረሻ ደሴና ኮምቦልቻ በጦርነቱ ተያዙ፤ እስከ ኅዳር መጨረሻም ስንት ሱቅና ፋብሪካ ተዘረፈ። መደበኛ የእሳት መድን ጦርነትን አይሸፍንም፤ ብዙ ሰው ይህን ያወቀው ያኔ ነው። ሆኖም ሱቆች ተከፈቱ። ዕቃ በእምነት የሚልክለት አከፋፋይ የነበረው ነጋዴ ለመነሣት ቀለለው። ያ እምነት ደግሞ ለዓመታት በሰዓቱ በመክፈል የተጠራቀመ ነው፤ ከመደርደሪያ የሚዘረፍ አልነበረም።

«ካልሆነ ቁልፉን መልሼ እወጣለሁ»

ቁልፉን ለአከራዩ መመለስ ንግዱን አይዘጋውም። ፈቃዱ እስካልተመለሰ ድረስ መዝገብ ላይ ነጋዴ ናችሁ። ፈቃድ በየዓመቱ ከሐምሌ 1 እስከ ታኅሣሥ 30 ያለ ቅጣት ይታደሳል፤ ካለፈ ቅጣት አለ። ለመመለስ ደግሞ ከግብር ቢሮ ክሊራንስ፣ ማለትም ዕዳ የለበትም የሚል ማረጋገጫ፣ ያስፈልጋል። ከሁለት ዓመት በኋላ ሌላ ሥራ ሊጀምር ሄዶ የድሮው ዕዳ ከነቅጣቱ የሚጠብቀው ሰው ብዙ ነው። ስለዚህ ፈቃድ ልታወጡ የሄዳችሁ ቀን፣ እዚያው መስኮት ላይ ለመመለስ ምን ምን እንደሚጠየቅ ጠይቁና ጻፉት። ሠራተኛዋ «ገና ሳትጀምሩ?» ብላ ብትስቅም ትነግራችኋለች።