ከፍታን መላመድ ምንድን ነው?

ከባሌ ስንመለስ አንድ ባዶ ሃይላንድ ይዤ መጣሁ። የባሌ ተራሮች አናት ላይ ባለው ሰፊ ሜዳ፣ ሳነቴ ላይ፣ ውሃውን ጨርሼ ክዳኑን ጥብቅ አድርጌ ዘግቼው ነበር። ሻሸመኔ ደርሰን ከቦርሳዬ ሳወጣው ጎኑ ሰርጉዷል። እጅ የጨመቀው ይመስላል፤ ግን ማንም አልነካውም።

ሀዋሳ ውስጥ ተራራ መውጣት ልጀምር ብሎ የሚጠይቀኝ ሰው ብዙ ነው። ቅዳሜ ጠዋት ታቦር ወጥቶ ሐይቁን ከላይ ያየ ሰው ቀጥሎ የሚያስበው አላሙራን ነው፣ ከዚያ ባሌን። ስለ ጫማና ስለ ቦርሳ ከማውራቴ በፊት ያንን ሃይላንድ አሳየዋለሁ። ሳነቴ ላይ የዘጋሁበት አየር ስስ ነበር። ወደ ታች በወረድን ቁጥር የውጪው አየር እየከበደ ሄደና ፕላስቲኩን ጨመቀው።

ብዙ ጊዜ «ላይ ኦክስጅን የለም» ሲባል እንሰማለን። አየር ውስጥ ያለው የኦክስጅን ድርሻ ሀዋሳም ሳነቴም ያው 21 በመቶ ነው። የሚቀንሰው የአየሩ ግፊት ነው። ሀዋሳ ከባህር ወለል 1,700 ሜትር ገደማ ከፍ ትላለች። ሳነቴ 4,000 ሜትር አካባቢ ነው። እዚያ በአንድ ትንፋሽ የምናገኘው ኦክስጅን ከሀዋሳው በሩብ ገደማ ያንሳል። አራት እንጀራ የለመደ ቤት በሦስት እንጀራ እደር ሲባል ማለት ነው።

ከፍታን መላመድ፣ አስጎብኚዎች አክላይማታይዜሽን የሚሉት፣ ሰውነት በሦስቱ እንጀራ መኖርን የሚማርበት ሂደት ነው። መጀመሪያ ትንፋሽና የልብ ምት ይፈጥናሉ። ይህ ወዲያው ይመጣል። ቀጥሎ ኩላሊት ሥራ ይጀምራል፤ በፈጣኑ ትንፋሽ የተዛባውን የደም ሚዛን በሽንት በኩል ያስተካክላል። ለዚህ ነው ከፍታ ላይ ሽንት ቶሎ ቶሎ የሚመጣው፣ ማንም እንዳይደነግጥ። ይህ ቀናት ይፈልጋል። ቀይ የደም ሴል በደንብ እስኪጨምር ደግሞ ሳምንታት ይወስዳል። ማናቸውንም በጉልበት ማፋጠን አይቻልም።

እኛ ግን ለማፋጠን ሞክረን ነበር። የመጀመሪያ ጉዟችን ላይ ከሀዋሳ ሌሊት ተነስተን፣ በመኪና ሳነቴ ወጥተን፣ እዚያው ድንኳን ተከልን። መንገዱ እስከ ላይ ስለሚያደርስ ቀላል መስሎን ነበር። አንዱ ጓደኛዬ ታቦርን በሩጫ የሚወጣ ልጅ ነው። ማታ ራሱን ያዘው። እራት አልበላም አለ። «ብርድ መቶት ነው» ብለን ጤና አዳም ያለበት ቡና አጠጣነው። ያንኑ አስመለሰው። ሌሊት ስምንት ሰዓት ላይ ሊሸና ሲወጣ እየተንገዳገደ ነበር። ሹፌሩን ቀስቅሰን ወደ ጎባ ወረድን። ጠዋት ሻይና ዳቦ ጠየቀ። እኔ እስከ ዛሬ የሚያሳስበኝ ያ ቡና ነው፤ ቡናውን እያፈላን ያባከንነው ሰዓት።

የያዘው የከፍታ ህመም ነው። ብዙውን ጊዜ ከ2,500 ሜትር በላይ በፍጥነት የወጣ ሰው ላይ ከጥቂት ሰዓታት በኋላ ይመጣል። ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽ፣ የምግብ ፍላጎት ማጣት፣ ድካም፣ እንቅልፍ ማጣት። ጂም የሚሠራም ሯጭም ይይዘዋል። «እኛ እኮ የደጋ ልጆች ነን» የሚለውም አያስጥልም። እርግጥ ነው፣ ባሌ ውስጥ ፊንጫ ሀበራ በሚባል 3,469 ሜትር ላይ ባለ ዋሻ የጥንት ሰዎች ከ40,000 ዓመት በፊት ይኖሩ እንደነበር ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ በ2019 አሳውቀዋል። ዛሬም እዚያው ባሌ ያለችው የዲንሾ ከተማ ሰው ሽቅብ እያወራ ይወጣል። ሀዋሳ ከርሞ የሄደ ሰው ግን ከእሱ ጋር እኩል ልሂድ ቢል ይጎዳል።

ቀላል ራስ ምታት ከሆነ ባሉበት ማረፍ ነው፤ እስኪሻል አንድ እርምጃ ወደ ላይ የለም። መንገዳገድ፣ የንግግር መዘባረቅ፣ ወይም ቁጭ ብሎም ትንፋሽ ማጠር ከመጣ ጉዳዩ አንጎል ወይም ሳንባ ላይ ደርሷል። ይሄ ይገድላል። ሌሊትም ቢሆን፣ ዝናብም ቢሆን፣ ያንን ሰው ወዲያው ማውረድ ነው፣ ብቻውን ሳይሆን ከሰው ጋር፣ ከዚያም ሐኪም ቤት። ዳያሞክስ የሚባል መከላከያ ኪኒን አለ፤ ከጉዞው በፊት ሐኪም ጠይቆ ነው የሚወሰደው። መጠጥና የእንቅልፍ ኪኒን ግን ይቅሩ፤ ሌሊት ትንፋሽ ያዳክማሉ።

ዋናው ደንብ የሚቆጥረው የሚታደርበትን ቦታ ነው። ከ3,000 ሜትር በላይ የማደሪያ ከፍታ በአንድ ሌሊት ከ500 ሜትር በላይ ባይጨምር ይመከራል። ቀን ከፍ ብሎ ወጥቶ ማታ ዝቅ ብሎ ማደር ደግሞ ይረዳል።

ከሀዋሳ ለሚነሳ ጀማሪ እኔ የምለው ይህን ነው። የመጀመሪያውን ሌሊት ዶዶላ እደሩ፤ 2,500 ሜትር ገደማ ነው። ሁለተኛውን ዲንሾ፣ 3,100 አካባቢ። በማግስቱ ዲንሾ ጫካ ውስጥና ጋይሳይ ሜዳ ላይ በእግር ዙሩ፣ እዚያው እደሩ። በአራተኛው ቀን በሮቤና በጎባ በኩል ሳነቴ ውጡ፣ ማታ ጎባ ወርዳችሁ ተኙ።

ያ ጓደኛዬ በሚቀጥለው ዓመት በዚህ መንገድ አብሮን ሄደ። 4,377 ሜትር፣ ቱሉ ዲምቱ ጫፍ ላይ ቁጭ ብሎ ከዲንሾ የገዛነውን ጭኮ አወጣ። ለእኛም አካፍሎን የቀረውን ከነቅቤው ጨረሰው።