«ባቄላ በላ!»፦ የኩሊባሊዎች ስድብ ከየት መጣ?

ካዛንቺስ፣ አንድ ካፌ ውስጥ ነበርኩ። የአፍሪካ ኅብረት ስብሰባ ሰሞን ስለነበር ሰፈሩ በእንግዳ ተጨናንቋል። አጠገቤ አንድ ሰውዬ ብቻውን ቡናውን ይጠጣል። ደረቱ ላይ ባጅ ያንጠለጠለ ሌላ ሰው ገባ። የተቀመጠው ባጁ ላይ ያለውን ስም አነበበና ጮኸበት። የገባውም ጮኾ መለሰለት። ጠብ መስሎኝ ስኒዬን ወደ ራሴ ሳብኩ። ወዲያው ሁለቱም በሳቅ ፈረሱ። ተቃቀፉ። አንድ ጠረጴዛ ላይም ተቀመጡ።

አላስቻለኝም፣ ጠየቅኳቸው። አንዱ ከማሊ፣ ሌላው ከኮትዲቯር ነው። ከዚያች ደቂቃ በፊት ተያይተው አያውቁም። የተቀመጠው ኬታ ይባላል። ባጁ ላይ የተጻፈው ደግሞ ኩሊባሊ ነው። ኬታ የጮኸው በባምባራ ቋንቋ «ኢ ቤ ሾ ዱን!» ብሎ ነው። ቃል በቃል «አንተ ባቄላ ትበላለህ» ማለት ነው። ኩሊባሊም «ባቄላ የምትበላውስ አንተ!» ብሎ መለሰለት። በቃ፣ ይኸው ነው። በዚህ ተዋወቁ።

ከዚያ ቀን ወዲህ ይህን አባባል ሳነብም ሰው ስጠይቅም ከርሜያለሁ። ላካፍላችሁ።

በመጀመሪያ ስለ ባቄላው። «ሾ» የሚሉት የኛን ባቄላ አይደለም። ቦሎቄ የሚመስል፣ መሃሉ ላይ ጥቁር ዓይን ያለው የምዕራብ አፍሪካ ጥራጥሬ ነው። ርካሽ ነው፣ ያጠግባል፣ ገበሬም ከተሜም ይበላዋል። ታዲያ ምኑ ነው ስድብ? ይህን ለአማርኛ ተናጋሪ ማስረዳት አይከብድም። አባቶቻችን «ባቄላ አለቀ ቢሉ ፈስ ቀለለ» ብለው ጨርሰውታል። በማሊ ዋና ከተማ በባማኮ ብዙ ሰው የሚሰጠው ምክንያትም ይኸው ነው። ባቄላ በላ ማለት ሆዱን የማይችል፣ ሰው መሃል የሚያሳፍር ማለት ነው። ላይ ላዩን ስለ ምግብ ያወራል፣ ውስጡ ግን ነውር አለበት። ትንሽም ሆዳምነት ይጨመርበታል። ክብሩን ረስቶ ድስት ላይ የሚያፈጥጥ ሰው ነው እንደማለት።

ስድቡን ማንም ለማንም ሊወረውረው ይችላል። ግን እንደ ኩሊባሊ የለመደው የለም። ማሊ ውስጥ «ኩሊባሊ እባላለሁ» ብሎ ስሙን የተናገረ ሰው ባቄላው ቶሎ ይደርሰዋል። የገበያ ሻጭ ትለዋለች፣ የታክሲ ሹፌር ይለዋል፣ ሰነዱን የሚያየው ፖሊስም ይለዋል። ለእንግዳ የአገሬውን ስም መስጠትም ልማድ ነው። «ከዛሬ ጀምሮ ኩሊባሊ ነህ» የተባለ የውጭ አገር ሰው ስሙን ሳይለምደው ስድቡን ይለምዳል።

እዚህ ላይ «ጃሙ» የሚባለውን ነገር መረዳት ያስፈልጋል። ጃሙ የዘር ስም ነው። እኛ የአባታችንን ስም እንይዛለን፣ የልጅ ልጃችን ጋ ሲደርስ ስሙ ተቀይሯል። ባምባራን የመሳሰሉት የምዕራብ አፍሪካ የማንዴ ሕዝቦች ግን ኬታ፣ ትራኦሬ፣ ጃራ፣ ኮኔ፣ ኩሊባሊ እያሉ አንዱን ስም ለመቶ ዓመታት ያወርሱታል። ሰላምታ ሲለዋወጡም በጃሙ ይጠራራሉ። አንድ የሚያመሳስለን ነገር አለ፦ በልማዳቸው ሴት ስታገባ የአባቷን ስም ይዛ ትቀጥላለች እንጂ የባሏን አትወስድም። እኔ ይህን ሳውቅ ደስ አለኝ።

ጃሙ ከጃሙ ጋር የተሳሰረበት ወግ «ሰናንኩያ» ይባላል። በአማርኛ የቀልድ ዝምድና ብንለው ይቀርበዋል። ኬታ ከኩሊባሊ፣ ትራኦሬ ከጃራ ጋር የቀልድ ዘመድ ነው፤ እንዲህ እያለ ይቀጥላል። የቀልድ ዘመድህን ባቄላ በላ፣ ሌባ፣ ውሸታም ልትለው ትችላለህ። «አንተ እኮ የኔ ባሪያ ነህ» እስከማለትም ይደርሳል። እሱም ይመልስልሃል። መቆጣት ግን ክልክል ነው። የተቆጣ ሰው ወግ የማያውቅ ተብሎ ይታዘንበታል። ሌላም ግዴታ አለ። የቀልድ ዘመድህ ለእርቅ መጥቶ ሲለምንህ እምቢ ማለት ነውር ነው። ለቅሶ ቤት ገብቶ ሟቹን እያስመሰለ ሐዘንተኛውን ቢያስቅም ማንም «ምን ነካህ» አይለውም።

የጥንት ተራኪዎቻቸው፣ ማለትም ጄሊዎቹ፣ ይህን ወግ ከሱንዲያታ ኬታ ጋር ያያይዙታል። ሱንዲያታ እ.ኤ.አ. በ1235 ገደማ ኪሪና ላይ ድል አድርጎ የማሊን መንግሥት ሲመሠርት ኩሩካን ፉጋ በተባለ ሜዳ ላይ ጉባኤ ጠራ ይላሉ። የትኛው ጎሳ ከየትኛው ጋር እንደሚቀልድ የተደነገገውም እዚያ ነው ይላሉ። (ከዚህ በታች ያሉት ቀናትና ዓመታትም በሙሉ በፈረንጆቹ ናቸው።) በቃል የወረደው የጉባኤው ድንጋጌ፣ የማንዴን ቻርተር የሚባለው፣ በ2009 በዩኔስኮ የማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ ላይ ሰፍሯል። የጎረቤት አገር የኒጀር የቀልድ ዝምድናም በ2014 ተመዝግቧል።

ወግ ብቻ ነው እንዳትሉ። በ2010 የታተመ አንድ ጥናት አለ። ተመራማሪዎቹ ባማኮ ውስጥ ለሰዎች የአንድ ፖለቲከኛ ንግግር በቪዲዮ አሳዩ። ንግግሩ አንድ ነው። የሚለዋወጠው የተናጋሪው የዘር ስም ብቻ ነው። ተናጋሪው የቀልድ ዘመዳቸው እንደሆነ የሰሙት፣ ብሔሩ ከነሱ የተለየ ቢሆንም እንኳ፣ የተሻለ ግምት ሰጡት። ተመራማሪዎቹ ማሊ ውስጥ ምርጫ በብሔር ብቻ የማይከፋፈልበት አንዱ ምክንያት ይህ ሊሆን ይችላል አሉ። እኔ ይህን ያነበብኩ ቀን እንቅልፍ አልወሰደኝም። አንድ የባቄላ ቀልድ ይህን ያህል ሸክም ይሸከማል?

አሁን ወደ ስሙ እንምጣ። ኩሊባሊ ማለት ምንድነው?

ሁሉም የሚያውቀው ታሪክ እንዲህ ይላል። ኒያንጎሎ እና ባራማንጎሎ የሚባሉ ሁለት ወንድማማቾች ጠላት አሳዷቸው ሲሸሹ ከኒጀር ወንዝ ዳር ደረሱ። ውኃው ሰፊ ነው። ከኋላ አሳዳጆቹ እየቀረቡ ነው። ታንኳ የለም። ያን ጊዜ አንድ ግዙፍ አምባዛ ከውኃው ወጥቶ በጀርባው አሻገራቸው። ጠላቶቻቸው ማዶ ሆነው «ኩሉን ባሊ!» አሉ። ያለ ታንኳ የተሻገሩ ማለት ነው። «ኩሉን» ታንኳ ነው፣ «ባሊ» ደግሞ የሌለው ወይም ያልሆነ የሚል ትርጉም ይሰጣል። ዘሩም ኩሊባሊ ተባለ። ያሻገራቸውን የዓሣ ዘር ከማይበሉ ኩሊባሊዎች ብዙዎቹ ምክንያታቸው ይኸው ነው።

ታሪኩን እወደዋለሁ። ግን አንድ ነገር ልናገር። በባምባራ ሰዋስው «ባሊ» የሚጣበቀው በተለምዶ ከግስ ጋር ነው። ያልተማረ ሰው «ካላንባሊ» ይባላል። ለስም የሚሆነው «ንታን» ነው። ገንዘብ የሌለው «ዋሪንታን» ነው። እንግዲያው ታንኳ የሌለው ለማለት «ኩሉንታን» ቢባል ነበር የሚቀናው። ስለዚህ ስሙ ቀድሞ ነበረ፣ ትርጉሙ ኋላ ተፈለገለት ብዬ አስባለሁ። ይህ ታሪኩን አያሳንሰውም። ሰዎቹ ስማቸውን ሲሰሙ ወንዝና አምባዛ ይታያቸዋል። ለነሱ የስሙ ትርጉም ያ ነው።

በትውፊቱ ወንድማማቾቹ ከተሻገሩ በኋላ ተለያዩ። የኒያንጎሎ ወገን ወደ ሰሜን ምዕራብ ሄዶ በካአርታ ማሳሲ የሚባለውን ሥርወ መንግሥት አቆመ። የባራማንጎሎ ወገን በኒጀር ወንዝ ዳር ባለችው በሴጉ ቀረ። ከሴጉዎቹ የወጣው ሰው ነው ስሙን ያገነነው። ማማሪ ኩሊባሊ ይባላል፣ በቅጽል ስሙ ቢቶን።

ቢቶን ላይ ትንሽ ልቆይ። በ1712 ገደማ ሥልጣን ያዘ። መነሻው «ቶን» ነው። ቶን የመንደር ጎረምሶች ማኅበር ነው። አብረው ያርሳሉ፣ አብረው ያድናሉ፣ አብረው ይጠጣሉ። ቢቶን የማኅበሩ አለቃ ሆነና ማኅበሩን ወደ ጦር ለወጠው። ዕዳ መክፈል ያቃታቸውን፣ በወንጀል የተያዙትን፣ በጦርነት የተማረኩትን እያስገባ «ቶንጆን» የሚባል ሠራዊት አደራጀ። በዚህ ጦር የባምባራን የሴጉ መንግሥት አቋቁሞ በ1755 እስኪሞት ገዛ። ዝናው ብቻ እየተነገረ አንዱ ነገር መዘለል የለበትም። ያ መንግሥት የቆመው በምርኮኛ ላይ ነው። ከተማረከው ሰው ብዙው በባርነት ተሸጧል፣ ከፊሉም አትላንቲክን ተሻግሯል። የቀልዱ «ባሪያዬ ነህ» ከባዶ የመጣ አይደለም።

የሚገርመኝ ግን ሌላ ነው። ስሙ ያለ ታንኳ የተሻገረ ማለት የሆነው ሰው የሴጉን ኃይል የገነባው በታንኳ ነው። ሶሞኖ የተባሉትን ዓሣ አጥማጆች አደራጅቶ ጦሩን በኒጀር ላይ የሚያመላልሱለት አደረጋቸው። ከሱ በኋላ ሥልጣኑ ለልጆቹ አልቆየላቸውም። በ1766 ገደማ ንጎሎ ጃራ ዙፋኑን ወሰደ። የካአርታዎቹን በ1855፣ ሴጉን ደግሞ በ1861 የጂሃድ መሪው ኡመር ታል ድል አደረጋቸው። መንግሥቱ ጠፋ፣ ስሙ ቀረ። የቢቶን መቃብር ሴጉ ኮሮ በምትባለው መንደር ዛሬም ይጎበኛል። የሴጉ እግር ኳስ ክለብም በስሙ ቢቶን ይባላል።

ስሙ ከባምባራዎቹም አልፏል። በሰሜን ኮትዲቯር ያሉት ሴኑፎዎች የራሳቸው የጎሳ ስም አላቸው። ሶሮ የሚባለው ከኩሊባሊ ጋር አንድ ተደርጎ ይቆጠራል። የኮርሆጎ ታላቁ ባላባት ፔሌፎሮ ግቦን ኩሊባሊ ሴኑፎ ነበሩ። ከሳቸው ቤት የወጡት አማዱ ጎን ኩሊባሊ ከ2017 ጀምሮ የኮትዲቯር ጠቅላይ ሚኒስትር ሆኑ። በ2020 ለፕሬዚዳንትነት ታጭተው ሳሉ፣ ሐምሌ 8 ቀን ከካቢኔ ስብሰባ ላይ ታመው አረፉ። 61 ዓመታቸው ነበር። ማሊያዊቷ ተዋናይት ፋቱማታ ኩሊባሊም መነሳት አለባት። በ2004 በወጣው የኡስማን ሴምቤን «ሞላዴ» ፊልም ላይ ልጃገረዶችን ከግርዛት የምትታደገውን እናት ሆና ተጫውታለች። ከፊልሙ ውጭም ግርዛትን የምትታገል ሴት ናት።

እኛ አገር ግን ኩሊባሊ ሲባል ኳስ ወዳዱ አንድ ሰው ነው የሚያስበው፣ ካሊዱ። የተወለደው በ1991 ፈረንሳይ ውስጥ፣ ከሴኔጋላውያን ወላጆች ነው። የሱ ስም በ«ኬ» ይጀምራል፣ የማሊዎቹና የኮትዲቯሮቹ ደግሞ በ«ሲ» ነው የሚጻፈው። በኛ ፊደል ስንጽፈው ይህ ልዩነት ይጠፋል፣ ሁሉም ኩሊባሊ ነው። ካሊዱ የሴኔጋል አምበል ሆኖ የካቲት 6 ቀን 2022 ያውንዴ ላይ ግብፅን በፍጹም ቅጣት ምት አሸንፈው የአፍሪካ ዋንጫን አንሥቷል። በዚያው ዓመት በኳታሩ የዓለም ዋንጫ ኢኳዶር ላይ የማሸነፊያዋን ጎል አገባ። ክንዱ ላይ ባሰረው የአምበል ጨርቅ ላይ 19 ቁጥር ተጽፎ ነበር። ልክ ከሁለት ዓመት በፊት በዚያች ቀን ያረፈው የቀድሞው የሴኔጋል ተጫዋች የፓፓ ቡባ ጆፕ ቁጥር ነው።

ካሊዱን ሳስብ ግን የሚመጣብኝ ሌላ ቀን ነው። ታኅሣሥ 26 ቀን 2018፣ ሚላን፣ ሳን ሲሮ። ለናፖሊ ከኢንተር ሚላን ጋር እየተጫወተ ነበር። ከተመልካቹ ብዙ ሰው እንደ ዝንጀሮ እየጮኸ ሲሰድበው አመሸ። መጨረሻ ላይ እሱ ራሱ በቀይ ካርድ ወጣ። ኢንተር ሁለት ጨዋታ በዝግ ስታዲየም እንዲጫወት ተቀጣ። ካሊዱ ከጨዋታው በኋላ በቆዳው ቀለም እንደሚኮራ ጻፈ። ፈረንሳዊ፣ ሴኔጋላዊ፣ ናፖሊያዊ፣ ሰው በመሆኑ እንደሚኮራ።

ይህን ያነሣሁት ሁለቱም ስድብ ስለሚባሉ ነው። የካዛንቺሱ ኬታ አንድ የማያውቀውን ሰው ሰደበ። ሳን ሲሮ የነበረውም ሕዝብ የማያውቀውን ሰው ሰደበ። ልዩነቱን ሳሰላስል የደረስኩበት ይህ ነው። «ባቄላ በላ» ሲባል ተሳዳቢው መልሱን እየጠበቀ ነው። መልስ ካልመጣ ቀልዱ ይሞታል። የሚሰድብህ አንተም ሰው ነህ፣ አፍ አለህ፣ እኩያዬ ነህ እያለህ ነው። ስምህን አውቆ፣ ዘርህን አክብሮ ነው ነውር የሚለጥፍብህ። የስታዲየሙ ጩኸት ግን መልስ አይፈልግም። የተሰደበው ስም እንዳለው እንኳ አይቆጥርም።

አንድ ቀን ባማኮ ወይም አቢጃን ከሄዳችሁና አንዱ «አንተ ኩሊባሊ ነህ» ብሎ ስም ከሰጣችሁ ስድቡ እንደሚከተል እወቁ። ዝም እንዳትሉ፣ ዝም ማለት ነው ብልግናው። ፈገግ ብላችሁ «ኢ ቤ ሾ ዱን!» በሉት። ከዚያ ወንበር ይሳብላችኋል።