የቢት ጀማሪው የዕቃ ዝርዝር፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ሐምሌ አጋማሽ ላይ፣ ፒያሳ ውስጥ አንድ ማኪያቶ ቤት ደጃፍ ዝናብ ተጠልለን ሳለ፣ የጎረቤቴ ልጅ አራት ቦታ የታጠፈ ወረቀት ከኪሱ አወጣ። የ12ኛ ክፍል ፈተናውን ጨርሷል፤ ክረምቱን የሂፕ ሆፕ ቢት፣ ማለትም ራፕ የሚደረግበትን ሙዚቃ፣ መሥራት ሊማርበት ቆርጧል። «ጋሼ፣ ከመግዛቴ በፊት እስቲ ይህን ይዩልኝ» አለኝ።

በጥሩ የእጅ ጽሕፈት የተጻፈ ዝርዝር ነበር፦ ባለ 16 ፓድ (በጣት የሚመታ ቁልፍ) የቢት ማሽን፣ ባለ 61 ቁልፍ ኪቦርድ፣ ጥንድ የስቱዲዮ ስፒከር፣ ሳውንድ ካርድ (ማይክን ከኮምፒውተር ጋር የሚያገናኝ ሣጥን)፣ የአፕል ላፕቶፕ፣ ኮንደንሰር ማይክ፣ 40 የእንቁላል ካርቶን። ከያዘው ገንዘብ ጋር የሚመጣጠነው የመጨረሻው ብቻ ነው። ብር በሐምሌ 2016 ዓ.ም. በገበያ ዋጋ እንዲመነዘር ከተለቀቀ ወዲህ የዶላር ምንዛሬ ከእጥፍ በላይ ስለሆነ፣ ከውጭ የሚገባ ዕቃ ሁሉ ከጀማሪ ኪስ ርቋል። እኔን ያስገረመኝ ግን የዋጋው ነገር አልነበረም። ያን ሁሉ ዕቃ ሲዘረዝር ሄድፎን አልጻፈም። ልጁ ሊታይበት የሚችለውን ሁሉ ጽፎ የሚሰማበትን ረስቶታል።

«እውነተኛ ቢት የሚሠራው በማሽን ነው»

ይህ እምነት ከፎቶ የመጣ ነው። አቀናባሪው ባለ 16 ፓድ ሣጥን ላይ ጎንበስ ብሎ፣ ፊቱ በኮፍያ ተጋርዶ ይታያል። ሣጥኑ አብዛኛውን ጊዜ የአካይ ኤምፒሲ ነው። የመጀመሪያው ኤምፒሲ 60 በሮጀር ሊን ንድፍ ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ1988 ወጣ። አሜሪካዊው አቀናባሪ ጄ ዲላ የተጠቀመበት ኤምፒሲ 3000 ዛሬ ዋሽንግተን በሚገኘው የስሚዝሶንያን የአፍሪካ አሜሪካውያን ታሪክና ባህል ሙዚየም ውስጥ ተቀምጧል። ሙዚየም የገባ ዕቃ ሲያዩ ማንም ቢሆን ያለእርሱ መንገድ የለም ብሎ ቢያስብ አይፈረድበትም።

ነገር ግን እነዚያ ሰዎች ማሽኑን ለምን እንደያዙት መጠየቅ ያስፈልጋል። እ.ኤ.አ. በ1987 የወጣው የኢሙ ኩባንያ ኤስፒ 1200 በጠቅላላው መቅዳት የሚችለው 10 ሰከንድ ያህል ድምፅ ብቻ ነበር። አቀናባሪዎቹ መላ ዘየዱ። በደቂቃ 33 ጊዜ መዞር ያለበትን ሸክላ በ45 እያሽከረከሩ በፍጥነት ቀዱትና ማሽኑ ውስጥ መልሰው አዘገዩት፤ ቦታ ቆጠቡ። ዛሬ «የድሮ ሂፕ ሆፕ ጣዕም» የምንለው ያ አሸዋማ ድምፅ በከፊል የዚህ ብልሃት ውጤት ነው። የሮላንድ ኩባንያ የከበሮ ማሽን የቲአር 808 ታሪክ ደግሞ ከዚህ ይብሳል። እ.ኤ.አ. ከ1980 እስከ 1983 ድረስ 12,000 ያህል ብቻ ተመርቶ፣ ገበያ አጥቶ ቀረ። ፋብሪካው ከተወው በኋላ ባገለገለ ዕቃ ቤት በርካሽ ስለተገኘ ነው የሂፕ ሆፕ ወጣቶች እጅ የገባው። ሁሉም የሠሩት በእጃቸው በገባው ነው። በልጁ እጅ ሊገባ የሚችለው ደግሞ ላፕቶፕ ነው፤ በውስጡም ከእነዚያ ማሽኖች ሁሉ የበለጠ ትዝታ፣ ማለቴ የማስታወሻ ቦታ አለ።

ፓድ መደብደብ ደስ እንደሚል አልክድም። ሃያ ሠላሳ ቢት የጨረሰ ሰው ማሽን ቢገዛ ምን እንደጎደለው ያውቃል። ያልጀመረ ሰው ግን የሚገዛው ፎቶውን ነው።

«ኪቦርዱ ቁልፉ በበዛ ቁጥር ይሻላል»

ባለ 25 ቁልፍ ትንሽ የሚዲ ኪቦርድ ይበቃል፤ ኦክታቭ መቀየሪያውን ተጭኖ ወደ ላይም ወደ ታችም መሄድ ይቻላል። ብዙ ሰው የሚደነግጠው ሌላ ቦታ ነው፤ ገዝቶ ቤት ወስዶ ቁልፉን ሲነካው ድምፅ የለም። «የተበላሸ ዕቃ ሸጡልኝ» ብሎ ወደ ሱቁ ሊመለስ የተነሣ ሰው እኔም በመንገድ አስቁሜያለሁ። ሚዲ እ.ኤ.አ. ከ1983 ጀምሮ የሙዚቃ መሣሪያዎች የሚነጋገሩበት ቋንቋ ነው፤ የትኛው ቁልፍ፣ መቼ፣ በምን ያህል ኃይል እንደተነካ ብቻ ይናገራል። ድምፁን የሚያወጣው ኮምፒውተሩ ውስጥ ያለው ፕሮግራም ነው።

ለእኛ ደግሞ አንድ ስጦታ አለ። ጥቁሮቹን ቁልፎች ብቻ ከኤፍ ሻርፕ ጀምሮ ወደ ላይ ይንኩ፤ አምስት ድምፆች ናቸው፤ ሜጀር ትዝታ ነው። ጀማሪው ስለ ቅኝት አንድም ነገር ሳይማር በመጀመሪያው ምሽት ስሕተት የሌለበት ዜማ ያገኛል። አምባሰልና አንቺሆዬ ነጮቹንም ስለሚቀላቅሉ ሁለተኛ ሳምንት ይጠብቁ። ማሲንቆ ተጫዋች ጣቱን እያንሸራተተ በሁለት ቁልፎች መካከል የሚያገኘው ድምፅ ግን በቁልፍ አይገኝም፤ 61 ቢሆኑም፣ 88 ቢሆኑም።

ቤት ውስጥ ለመዝሙር ወይም ለልጆች የተገዛ ኪቦርድ ካለ ደግሞ ከኋላው የዩኤስቢ መሰኪያ እንዳለው ይታይ። ካለው አብዛኛውን ጊዜ ከኮምፒውተር ጋር ይነጋገራል፤ መግዛትም አያስፈልግም።

«የስቱዲዮ ስፒከር ከሌለ ጥሩ ድምፅ የለም»

እዚህ ላይ ረጋ ብዬ ልናገር፤ ብዙ ገንዘብ የሚባክነው እዚህ ነው።

የሂፕ ሆፕ ቢት ልቡ ታች ያለው ቤዝ ነው፤ ከ40 እስከ 60 ኸርዝ (በሰከንድ የሚርገበገብበት ብዛት) አካባቢ። ባለ 50 ኸርዝ የድምፅ ሞገድ ርዝመቱ ወደ 7 ሜትር ይጠጋል። የልጁ ክፍል ደግሞ ሦስት በአራት ነው። ሞገዱ ከግድግዳ እየተጋጨ ይመለሳል፤ ጥግ ላይ ይከመራል፣ መሃል ላይ ሊጠፋ ይችላል። ወንበሩን አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ሲስብ ቤዙ ያብጣል፣ ወደ ፊት ሲያስጠጋው ይከሳል። ስፒከሩ የትኛውም ያህል ቢወደድ ክፍሉን አይለውጠውም። የባለ 5 ኢንች ትንሽ ስፒከር ጉልበትም በዚያው በ50 ኸርዝ አካባቢ መድከም ይጀምራል። ልጁ የጎደለ የመሰለውን ቤዝ እየጨመረ ይሄዳል፤ ጎረቤት ግን ሳይጎድልበት ይሰማዋል። በአንድ ግቢ አምስት አባወራ በሚኖርበት ቤት ይህ የሙዚቃ ጥያቄ ብቻ አይደለም።

ስለዚህ ሄድፎን። ጆሮን ሙሉ በሙሉ የሚሸፍን፣ ጀርባው የተዘጋ፣ ባለ ገመድ፤ የሶኒ ኤምዲአር 7506 ወይም የኦዲዮ ቴክኒካ ኤም 50 ኤክስ ዓይነት፣ አቅም ካነሰም በእነርሱ መንገድ የተሠራ ሌላ። ብሉቱዝ ለዚህ ሥራ አይሆንም፤ ቁልፉ ተነክቶ ድምፁ እስኪመጣ ጣት ሌላ ቦታ ደርሷል። «ቤዝ የሚጨምር» ተብሎ የሚሸጠው ደግሞ የሌለውን እያሰማ ያታልላል። የታወቀ ስም የተለጠፈበት አስመስሎ የተሠራ ዕቃ በገበያው ስላለ፣ ሱቅ ሲኬድ በቃል የሚታወቅ አንድ ዘፈን በስልክ ይዞ መሄድ ነው። የቤዝ መስመሩ ዜማ ለይቶ ይሰማል? ከድምፃዊው ጀርባ ያለው ክራር ወይም ጊታር የት ቆሟል? ነጋዴው ቢሰለች ይሰልች።

ከዚያ በኋላ የተሠራውን ቢት በስልክ ስፒከር መስማት ያስፈልጋል። ስልክ 50 ኸርዝን ፈጽሞ አያወጣም። ሆኖም ቤዙ ላይ ጥቂት ዲስቶርሽን (ድምፁን ማሻከር) ከተደረገበት የ100፣ የ150 እና የ200 ኸርዝ ተከታዮች ይወለዳሉ፤ አእምሮም ከእነርሱ ተነሥቶ የጠፋውን ታችኛውን ድምፅ ይሞላዋል። የመጨረሻው ፈተና ከአራት ኪሎ ወደ መገናኛ የሚሄድ ሚኒባስ ነው፤ ሾፌሩ ፈቅዶ ከከፈተልዎ፣ ረዳቱም «መገናኛ! መገናኛ!» እያለ ስኔሩ፣ ያ ስል ድምፅ ያለው ከበሮ፣ ከተሰማ፣ ቢቱ ሠርቷል።

«ሳውንድ ካርድ ድምፁን ያጠራዋል»

ማይክ ወይም ጊታር ለሚቀዳ ሰው፣ አዎን። ከኮምፒውተር ውስጥ የወጣ ከበሮ ተመልሶ ኮምፒውተር ውስጥ ሲቀመጥ ግን በሳውንድ ካርዱ በኩል አያልፍም፤ ፋይሉ ያው ፋይል ነው። ጀማሪውን የሚያበሳጨው ቁልፉ ተነክቶ ድምፁ እስኪሰማ ያለው መዘግየት ነው። በዊንዶውስ ላይ ኤዚዮ ፎር ኦል የተባለውን ነጻ ድራይቨር ጭኖ ቋቱን (ባፈር፣ ድምፁ ለጊዜው የሚጠራቀምበትን ቦታ) ከ512 ወደ 128 ቢያወርደው፣ ቋቱ የሚያመጣው መዘግየት ከ12 ሚሊ ሰከንድ ገደማ ወደ 3 ይወርዳል። ወጪው ባዶ ነው።

«አፕል ካልሆነ አይሆንም»

8 ጊጋባይት ራምና ኤስኤስዲ ያለው ያገለገለ ላፕቶፕ ይበቃል። አሜሪካዊው ሙዚቀኛ ስቲቭ ሌሲ ስሙን ያስጠራው በአይፎን ላይ ጋራዥባንድ በተባለ የሙዚቃ መሥሪያ ፕሮግራም በሠራቸው ሥራዎች ነው። ሌላ የምጨምረው የለም።

«በፍላሽ የተገለበጠው ሶፍትዌር ያው ነው፣ ያውም ነጻ»

ባለ ሱቁ አንድ ፍላሽ ላይ የሙዚቃ መሥሪያ ፕሮግራሙንና አራት መቶ ፕለጊን (በላዩ የሚጫን ተጨማሪ የድምፅ መሣሪያ) ይገለብጥልዎታል። ከቫይረሱ ጋር። እኔ ግን ከቫይረሱ ይልቅ የምፈራው አራት መቶውን ነው፤ ልጁ ክረምቱን ሙሉ የከበሮ ድምፅ ሲያማርጥ አንድ ቢት ሳይጨርስ መስከረም ይደርስበታል። ዶላር ከፍሎ መግዛት እዚህ ቀላል እንዳልሆነ አውቃለሁ። ኤልኤምኤምኤስ ግን በሕጋዊ መንገድ ነጻ ነው፤ ኤፍኤል ስቱዲዮም የሙከራ ቅጂ አለው። የሙከራው ወጥመድ አንድ ነው፦ የተቀመጠው ሥራ ፕሮግራሙ እስኪገዛ ድረስ ተመልሶ አይከፈትም። ስለዚህ በአንድ ተቀምጦ መጨረስና ወደ ድምፅ ፋይል ማውጣት ግድ ነው። ለጀማሪ ይህ ቅጣት አይመስለኝም፤ እንዲያውም ብዙዎቻችን የሚያስፈልገን ይኸው ነበር።

ፕሮግራሙ ሲከፈት የሚታዩት 16 ሣጥኖች ለአራት ምት የተሰፉ ናቸው። ችክችካ ለመሥራት የሚፈልግ ሰው ሣጥኖቹን ወደ 12 ያውርዳቸው፤ አለበለዚያ ከበሮው እንደተዋሰ ጫማ ይጠብበታል።

«ከአሜሪካ የመጣ ዕቃ አስተማማኝ ነው»

ጥራቱ አዎን፤ ሶኬቱ ግን ሌላ ነው። የአክስቴ ልጅ ከዋሽንግተን ያመጣልኝን ስፒከር ከሶኬት ማዛመጃ ጋር ዲቫይደር ላይ ሰካሁት። አንዴ እንደ መሳል አለና ቤቱ የተቃጠለ ላስቲክ ሸተተ። እዚያ 120 ቮልት ነው፣ እዚህ 220፤ ማዛመጃው የሚለውጠው የሶኬቱን ቅርጽ ብቻ ነው። ከዕቃው ጀርባ «100–240» ተብሎ ከተጻፈ ችግር የለም፤ «120» ብቻ ካለ ትራንስፎርመር ይፈልጋል። ከላፕቶፑ ዩኤስቢ ኃይል የሚወስዱት ትንሹ ኪቦርድና ሳውንድ ካርድ ከዚህ ሁሉ ነጻ ናቸው፤ መብራት ሲጠፋም ባትሪው እስኪያልቅ ሥራው አይቆምም። ስፒከር የገዛ ግን ጨለማው ውስጥ ተቀምጦ ያስባል።

«ከሰባት ሰከንድ በታች የተወሰደ ሳምፕል አያስጠይቅም»

ሳምፕል ከሌላ ሰው ዘፈን የተቆረጠ ድምፅ ነው። ይህ ከዕቃ ዝርዝሩ ውጭ ነው፤ ልጁ ግን ማኪያቶውን እያማሰለ ስለጠየቀኝ ልመልሰው። ሰከንድ ቆጥሮ ነጻ የሚያወጣ እንዲህ ያለ ደንብ የለም። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 የደራሲውንም፣ የተጫዋቹንም፣ የአሳታሚውንም መብት ይጠብቃል። የሙላቱ አስታጥቄ ሥራ እ.ኤ.አ. በ2010 በአሜሪካዊው ራፐር በናስና በሬጌ ዘፋኙ በዴሚያን ማርሊ ዘፈን ውስጥ ገብቶ ዓለም ሰምቶታል፤ የእኛ ሸክላ ምን ያህል እንደሚፈለግ ማሳያ ነው። ጀማሪው በቤቱ ለመማር ቢቆርጥ ቢቀጥል ጆሮውን ያሠለጥናል፤ ለሕዝብ ከማውጣቱ በፊት ግን ፈቃድ መጠየቅ አለበት።

«ኮንደንሰር ማይክና የእንቁላል ካርቶን ካለ ቤቱ ስቱዲዮ ሆነ»

ወደ ወረቀቱ ግርጌ ደረስን። ካርቶኑን በአንድ መስመር ሰረዝኩት። ድምፅ እንዳይወጣና እንዳይገባ የሚከለክለው ክብደትና አየር የማያስገባ አጥር ነው፤ የእንቁላል ካርቶን ሁለቱም የለውም። ከላይኛው ቀጭን ድምፅ ጥቂቱን ይበትናል፣ ቤዙን ጭራሽ አይነካውም፤ እሳት ከነካው ደግሞ እንደ ጭድ ነው። ማስተጋባት ለመቀነስ ከግድግዳው ፈንጠር ብሎ የተሰቀለ ወፍራም ብርድ ልብስ፣ የቆመ ፍራሽ፣ ልብስ የሞላበት ቁም ሣጥን ይሻላል።

ማይኩ ላይ ግን ልጁ ተከራከረኝ። «ጋሼ፣ ጓደኛዬ ራፕ ያደርጋል፤ በምን እቀዳዋለሁ?» ኮንደንሰር ማይክ 48 ቮልት ስለሚፈልግ ሳውንድ ካርዱን አስከትሎ ይመጣል። ጆሮው ደግሞ ስል ነው፤ ሌሊት የጊዮርጊስን ቅዳሴ፣ ቀን የመንገዱን ጥሩምባ፣ የጎረቤትን ቡና ወቀጣ ሳይቀር ይሰበስባል። ለእንዲህ ያለ ቤት እንደ ሹር ኤስኤም 58 ያለ፣ ከአፍ ሥር ተይዞ የሚዘፈንበት ዳይናሚክ ማይክ ይመረጣል፤ የሩቁን ድምፅ ብዙም አያነሣም። እርሱንም ቢሆን ዛሬ አልፈቀድኩለትም።

«ለምን?» አለኝ።

በጣቴ ወደ ላይ፣ ወደ ቆርቆሮው አመለከትኩ። ዝናቡ እንደ ሺህ ሃይሃት፣ እንደዚያ የከበሮ ጸናጽል፣ እየወረደበት ስለነበር ድምፄን ከፍ አድርጌ መናገር ነበረብኝ። የእነርሱም ጣሪያ ያው ቆርቆሮ ነው። ልጁ ጥቂት አዳመጠና ብዕር ተቀብሎኝ «ማይክ» የሚለውን ሳይሰርዝ ከጎኑ «መስከረም» ብሎ ጻፈበት። ከሥሩ ደግሞ በትልቁ፦ ሄድፎን።